አማቴ ያረፉበት በረንዳ

ካዛንቺስ መግባት በጠቅላላው የፈጀብኝ የስድስት ወር ኪራይ በቅድሚያ፣ የደላላ፣ ደረጃ ላይ እግሩ የተሰበረ ቁም ሳጥን፣ አንድ ትልቅ ደንበኛ እና አንዲት አማት ነው። አማቴ በሕይወት አሉ። ቢሆንም ወጪ ወጪ ነው፤ ይመዝገብ።

ቤቱ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ደላላው ሲያሳየን «ሊፍቱ የጀርመን ነው» አለን፣ ጀርመኖቹ ራሳቸው ቆመው የሚጎትቱት ይመስል። አልዋሸም፣ የጀርመን ነው። ለዚህም ይመስለኛል የእኛን መብራት የናቀው። አልፎ አልፎ ይሠራል ይላሉ፤ እኔ በሌለሁበት። ውሃውም ቢሆን አራተኛ ፎቅ ድረስ ይመጣና ይደክመዋል። እኔ ደግሞ መተዳደሪያዬ ቧንቧ ነው። ሜክሲኮ ጀርባ ባለችው ሱቄ የቱርክ ቧንቧ አለ፣ የቻይና አለ፣ ቻይና ተሠርቶ ቱርክ ነኝ የሚልም አለ። ቤቴ ገብቼ ግን የምታጠበው በጆግ ነው። ሚስቴ «ማስታወቂያህ አምሯል» ትለኛለች።

ትምህርቴን የጨረስኩት እዚያው ሜክሲኮ ነው፣ ከሊስትሮ ሳጥን ኋላ ተቀምጬ። ሰውን ፊቱን ከማየቴ በፊት በጫማው የማወቅ ልማድ ከዚያ ነው የቀረኝ። በዚያ ትምህርት ሱቅ ከፈትኩ፣ በሱቁም እንቅልፍ አጣሁ። ዶላር ቁርስ ላይ ሌላ ነው፣ ምሳ ላይ ሌላ ነው። ዕቃዬ ጉምሩክ መጋዘን ተኝቷል፤ ከእኔ የተሻለ ቤት አግኝቷል። ቀብድ የከፈለ ሁሉ ይደውላል፣ ያልከፈለውም ዋጋ ልጠይቅ ብሎ ይደውላል። ጠዋት ጠዋት ከሚስቴ ቀድሞ የሚቀሰቅሰኝ ስልኬ ነው።

ሚስቴ የምትሠራው መስቀል አደባባይ አካባቢ ቢሮ ውስጥ ነው። የድሮው ግቢያችን ለመንገድ ሲፈርስ ካዛንቺስን የመረጥነው በእግሯ እንድትመላለስ ብለን ነው። የድሮው ቤት ሁለት ክፍል ነበር፤ አንዱ የእኛ፣ አንዱ የካርቶኖቼ። እራት የምንበላው የሽንት ቤት መቀመጫ የታሸገበት ካርቶን ላይ ነበር። አዲሱ ቤት የገባን ቀን በሩ ላይ አቆመችኝ።

«ስማ፣ እዚህ ቤት ሱቁ አይገባም። ካርቶኑም፣ ስልኩም፣ ጩኸቱም። ከገባ እኔ ቄራ፣ እናቴ ጋ።»

«ለስንት ቀን?»

«እሱን ሄደህ እናቴን ጠይቃት።»

ቀልድ መስሎኝ ነበር። ሻንጣዋን ግን አልፈታችውም። በሩ አጠገብ አቆመችውና በየቀኑ ከውስጡ አንድ ልብስ እያወጣች ትለብሳለች፣ አጥባ መልሳ ታስገባለች። ሆቴል ያረፈች እንግዳ ሆነችብኝ። እኔም ቤቴ ውስጥ በሙከራ ጊዜ ላይ ያለሁ ሠራተኛ ሆንኩ።

ነጋዴ ግን ውል ሲሰጡት መጀመሪያ የሚያየው ቀዳዳውን ነው። ቤት አይገባም አለች እንጂ በረንዳ አላለችም። ደግሞም ቤቱ ውስጥ ስልክ ይጠራል እንጂ ድምፅ አይሰማም፤ ደህና ኔትወርክ በረንዳው ጫፍ ላይ ቆመው አንገት ሲያሰግጉ ብቻ ነው የሚገኘው። ስለዚህ ሱቁን ለተቀጣሪ ልጆቹ ትቼ በጊዜ ቤት እገባለሁ፣ በረንዳ እወጣለሁ፣ እሷ እስክትመጣ ድረስ እጮሃለሁ። በር ስትከፍት ሶፋው ላይ እጄን አጣምሬ፣ እንደ ቅዱስ ሥዕል ተቀምጬ ታገኘኛለች። በጣም ደስ ይላታል።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። በእኛ ሥራ ዕቃ ያልደረሰለት ደንበኛ ሲደውል የሚሰጥ መልስ አለ። «ባንክ ነኝ» ካልከው «ስንት ሰዓት ትወጣለህ» ይልሃል። «መንገድ ላይ ነኝ» ካልከው «የት ደረስክ» ይልሃል። «ለቅሶ ላይ ነኝ» ስትለው ግን የፈለገ ቢቆጣ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ሐዘንተኛን የሚያፋጥጥ ነጋዴ እስካሁን አልተወለደም። እኔ በዚያ ሰሞን ብዙ ለቅሶ ደርሻለሁ፤ ሁሉንም ከበረንዳዬ።

አንድ ሆቴል የሚሠራ ኮንትራክተር ነበረ፣ ትልቁ ደንበኛዬ። የሆቴሉን ቧንቧ በሙሉ ከእኔ አዞ ይጠብቃል። ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ግድም ደወለ።

«ወንድሜ፣ ዕቃዬስ?»

«ለቅሶ ላይ ነኝ።»

«ባለፈውም ለቅሶ ላይ ነበርክ እኮ።»

«ያ ሌላ ነው።»

«የአሁኑስ የማን ነው?»

ይሄን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ያልተዘጋጀ ሰው መጀመሪያ አፉ ላይ የመጣለትን ነው የሚናገረው። «የአማቴ» አልኩ።

«ውይ! የባለቤትህ እናት? ነፍስ ይማር! በል የት ነው፣ ሠራተኞቼን ይዤ ልድረስ።»

«የለም የለም፣ ክፍለ ሀገር ነው ያረፉት።»

«እንግዲያው ለባለቤትህ ልደውልላት። ቁጥሯን ሰጥተኸኝ የለ፣ ስልክህ የጠፋ ጊዜ።»

በዚህ መሃል ኔትወርኩ ተቆራረጠ። ባለ በሌለ ድምፄ ጮህኩ፦ «እንዳትደውልላት! አማቴ ማረፋቸውን ሚስቴ ገና አልሰማችም! አልተነገራትም!»

ድምፁን ዝቅ አድርጎ «በል በርታ ወንድሜ» ብሎ ዘጋ። የዕቃውን ነገር አላነሳም። የበረንዳውን ብረት ተደግፌ በራሴ ኮራሁ። ከታች አምስተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ አንድ ሽማግሌ አበባ ያጠጡ ነበር። ማጠጣታቸውን አቆሙ። ውሃው አለቀባቸው ብዬ ገባሁ።

እኚህ ሽማግሌ ጡረተኛ ናቸው፣ የሕንፃው እድር ዳኛ። እስከዚያ ቀን ያናገሩኝ አንዴ ብቻ ነው፣ ቁም ሳጥናችንን ስናወጣ በደረጃው ድምፅ ሊቆጡኝ። ያን ዕለት አመሻሽ ላይ ጀሪካኔን ይዤ ስወርድ ደረጃው ላይ አገኙኝና ትከሻዬን ያዙ።

«በርታ ልጄ። እንግዲህ አንተ ነህ የምትጠነክረው።»

የሊፍቱን ነገር የሚሉ መሰለኝ። «ምን ይደረጋል ጋሼ፣ እንለምደዋለን» አልኳቸው። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

እንግዳው ነገር በዚህ አላበቃም። የሕንፃው ጥበቃ ጀሪካኑን ከእጄ ነጥቆ እስከ ስድስተኛ ፎቅ ተሸከመልኝ፤ ጉርሻ ስሰጠው «ኧረ ነውር ነው፣ ዛሬ?» ብሎ ሄደ። ፊት ለፊታችን ያለችው ጎረቤት፣ ከገባን ጀምሮ በሩን ስንከፍት በሯን የምትዘጋው፣ በድስት ሙሉ ወጥ ይዛ መጣች። «ዛሬ እሳት እንዳትነኪ እናቴ» አለቻት ለሚስቴ፣ ግንባሯንም ሳመቻት። ስትወጣ «ስልኬ ተዘጋብኝ፣ ያንቺን ላፍታ» ብላ ስልኳን ይዛ ሄደች። አልመለሰችም። እኔ ባደግኩበት ሰፈር በዚህ መልክ ስልክ የወሰደ ሰው ሌላ ስም ነበረው።

ሚስቴ ግን ከገባን ጀምሮ እንደዚያ ቀን ፊቷ ፈክቶ አያውቅም።

«አየህ? ሰዎች እኮ ናቸው። እኛ ነን ያልቀረብናቸው።»

«እኔ ድሮም ብዬሻለሁ» አልኩ። ብያት አላውቅም።

ሻንጣዋን ከፈተችና ብርድ ልብሷን አወጣች። አልጋው ላይ ዘረጋችው። ከዚያ ሹራቦቿን አውጥታ በአንድ እግሩ የሚያነክሰው ቁም ሳጥን ውስጥ ደረደረች። ሙከራውን አለፍኩ ብዬ ተኛሁ።

ገና ጎህ ሳይቀድ በሩ ተንኳኳ። ሚስቴ ነች የከፈተችው። ደረጃው ላይ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሰዎች ቆመዋል፣ ጋሼ ከፊት፣ ድስት ያመጣችው ጎረቤት ከጎናቸው። በዚያ ሰዓት፣ በዚያ አለባበስ፣ ያን ያህል ሰው ስኳር ሊበደር አይመጣም። ሚስቴ ወዲያው ገባት።

«ማን ነው? ማን ነው በሉኝ!»

«ቁጭ በይ ልጄ» አሉ ጋሼ። «እናትሽ አርፈዋል።»

ጩኸቷን መጻፍ አልችልም። እኔ በቢጃማ ከመኝታ ቤት ስወጣ መሬት ላይ ናት፣ ሴቶቹ ይዘዋታል። መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ፈጣሪ ስልክ ይጠልፋል የሚል ነው። ትናንት ያልኩትን ሰምቶ ፈጸመው። ወደቅኩ፣ ከልቤ አለቀስኩ። ሚስቴን ሽማግሌ ልኬ ስጠይቅ ቤተሰቡ በሙሉ «ትምህርቱ እስከ ምን ድረስ ነው» ሲል፣ «ጫማው ንጹሕ ነው» ያሉት እኚህ ሴትዮ ብቻ ነበሩ። እንደዚያ ዓይነት ሰው በውሸት መግደል ያማል። እውነት ሆኖ ሲገኝ ደግሞ ይብሳል።

ትንሽ ቆይቶ ግን ውስጤ ያለው ነጋዴ ነቃ። «ጋሼ፣ ማን ነገረዎት?»

«ምነው ልጄ፣ አንተው ነሃ! ትናንት በረንዳ ላይ። እሷ አልሰማችም ስትል እኮ ነው ስልኳን አስወስደን መርዶውን እኛ ያሰናዳነው።»

እንባዬ ባለበት ደረቀ። ሚስቴ ደረቷን እየደቃች ነው። የግድ መናገር ነበረብኝ።

«አልሞቱም!» አልኩ።

ሁሉም ይበልጥ አለቀሱ። «ድንጋጤ ነው» አለች ጎረቤቲቱ፣ «ውሃ ስጡት።» ከኋላ አንዱ «ውሃ የለም» አለ።

«አልሞቱም እላችኋለሁ! እኔ ነኝ የገደልኳቸው!»

«እንደሱ አይባልም፣ የእግዜር ሥራ ነው» ብለው ጋሼ ጭንቅላቴን ደረታቸው ላይ አስደገፉኝ። አፌም ካፖርታቸው ውስጥ ገባ። ዕድሜዬን በሙሉ ውሸቴን ሲያምኑኝ ኖረው፣ አንዲት እውነት ብናገር ለቅሶ ተደረገብኝ።

በዚህ መሃል ከደረጃው ሥር «ልጄን! ልጄን!» የሚል ዋይታ ተሰማ። አማቴ ናቸው። የልጃቸው ስልክ ሌሊቱን ሙሉ ተዘግቶባቸው፣ ልባቸው ስላላረፈ በመጀመሪያው ታክሲ ከቄራ መጥተዋል። ሦስተኛ ፎቅ ሲደርሱ ከእኛ ቤት ለቅሶ ሰሙ። የቀረውን ደረጃ በዚያ ጉልበታቸው እንዴት እንደወጡት አላውቅም። ለቀስተኛው «ዘመድ መጣ» ብሎ መንገድ ለቀቀላቸው። ልጃቸው ላይ ወደቁ። ሚስቴ ድምፃቸውን ሰማች፣ ነጠላዋን ገለጠች፣ አየቻቸው። እናትና ልጅ እንደገና ጮኹ። ይሄኛው ጩኸት ሌላ ነበር።

ጋሼ ባርኔጣቸውን አነሡ። «እመቤቴ፣ እርስዎ የሟች እህት ነዎት?»

«የምን ሟች? የሞተው ማን ነው?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«እርስዎ ነዎት፣ እማማ» አልኩ።

ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ ተናገርኩ፣ ከጉምሩኩ እስከ ኮንትራክተሩ። አማቴ ሳያቋርጡኝ ሰሙና «ስንት ሰዓት ላይ ነው የሞትኩት?» አሉ።

«ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ግድም።»

«ያኔ ሽንኩርት ስገዛ ነበር።»

ለቀስተኛው አንድ በአንድ እየሾለከ ወጣ። የደረጃው ሳቅ እስከ ምድር ቤት ድረስ ተሰማኝ። ሚስቴ ግን አልሳቀችም፣ አልጮኸችምም። ሹራቦቿን አወጣች፣ ብርድ ልብሷን አጠፈች፣ ሻንጣው ውስጥ ከታ ዚፑን ዘጋችው። ዶላር ጨመረ ሲሉኝ ደንግጬ አውቃለሁ። እንደዚያ ዚፕ ግን ያስደነገጠኝ የለም።

«ስልኩን ውሰጂው» አልኳትና ዘረጋሁላት። ሌላ የምሰጣት ነገር አልነበረኝም።

እጄ ላይ እንዳለ ጠራ። ኮንትራክተሩ ነው፣ በጠዋት ሊያጽናናኝ። አማቴ ከእጄ ወሰዱና በረንዳው ጫፍ ሄደው አነሡት።

«ሀሎ። አለ፣ እዚህ ነው። እኔ? አማቱ ነኝ። አዎ፣ የሞትኩት።»

ተዘጋ። እስከ ዛሬም አልደወለም። ቧንቧውን ከሌላ ሱቅ እንደገዛ በኋላ ሰማሁ፤ ቀብዱን በሰው ላኩለት።

ሚስቴ ሻንጣዋን አንሥታ ቆመች። «እማዬ፣ ተነሺ ቤትሽ እንሂድ።»

አማቴ ሶፋው ላይ ተመቻችተው ተቀመጡ።

«የት? እኔ እንደሆነ ሞቻለሁ። የሞተ ሰው ቤት እንግዳ አይቀበልም። ይልቅ ቁጭ በይ፣ ይሄ ሰውዬ ምን እንደሚሆን አብረን እንይ። ስልኩ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ እኔ ጋ ያድራል። በረንዳውም ቤት ነው።»

ቀዳዳው በዚህ ተደፈነ። ሰውዬው ምን እንደሚሆን እስካሁን እያዩ ናቸው። ማታ ማታ ስልኩ አማቴ ትራስ ሥር ይጠራል፤ ሲደጋገም በረንዳ ወጥተው ያነሡና «ለቅሶ ላይ ነው» ይላሉ። ጋሼ እድር ውስጥ መዝግበውናል። ድንኳኑ ታዝዞ ነበርና ገንዘቡ አይመለስም አሉ፤ ከፈልኩ። ዕቃውም ከጉምሩክ ወጣ፣ የሚወስደው ሰው ሲጠፋ። ከእሱ ላይ አንዱን ቧንቧ ቤቴ ገጠምኩት። የቱርክ ነው፣ ያምራል፣ ውሃ የለውም።

ሂሳቡ ሲዘጋ፦ ሚስቴ አለች። ሻንጣው ቁም ሳጥኑ ላይ ነው፣ ባዶ። አማቴ በትንሹ ክፍል አሉ። ደንበኛው ሄዷል። ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ ስልክ የለኝም።