የቤዝመንቱ ጁሪ

የምሠራበት ክሊኒክ ውስጥ ጸሐፊዋ ወፍራም ማህደር ከፍታ የብረት ቀለበቶቹን መልሳ ስትዘጋ የሚሰማው «ቀጭ» የሚል ድምፅ እስከዛሬ ትከሻዬን ያኮማትረዋል። ሌላው ሰው ጭራሽ ላይሰማው ይችላል፤ እኔ ግን በሰማሁት ቁጥር ኮሎምበስ ከተማ፣ ኒር ኢስት ሳይድ ሰፈር ወደነበረው የጡብ ቤታችን ቤዝመንት፣ ወደ ምድር ቤቱ፣ ተመልሼ፣ ገና ከማተሚያ የወጣ ወረቀት ሽታ እየሸተተኝ፣ አባቴ ፊቱን ሳያዞር «ይህን ማን ነካው?» እስኪል እጠብቃለሁ።

አባቴ የችሎት ጠበቃ ነበር። ጠበቃ ሲባል ለብዙ ሰው የሚታየው ሌባና ነፍሰ ገዳይ ነው፤ የአባቴ ሥራ ግን አብረው ድርጅት አቋቁመው የተጣሉ ሸሪኮች፣ ውል አፈረስክ የሚባባሉ ኩባንያዎች፣ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው መተያየት ያቃታቸው ባለአክሲዮኖች ነበሩ። «የእኔ ሥራ ፍቺ ነው፤ ባልና ሚስት የሌሉበት ፍቺ» ይል ነበር፣ ሰው ሲጠይቀው። ዳውንታውን ቢሮው ውስጥ ከሱ ሌላ አማርኛ የሚናገር አልነበረም፤ ሐበሻ ደንበኛም ኖሮት አያውቅም፣ እኔ አሥራ አንድ ዓመት እስከሞላኝ ዓመት ድረስ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ማህደሮቹን ተሸክሞ ቤዝመንት ይወርድና «ጁሪ ግቡ» ብሎ ይጣራ ነበር፤ ጁሪ እዚህ አገር ችሎት ተቀምጠው፣ ክርክሩን ሰምተው የሚፈርዱ ተራ ሰዎች ናቸው። እኛም አራት ተጣጣፊ ወንበሮች ላይ እንደረደርና ችሎት ላይ ሊናገር ያሰበውን ሁሉ በእኛ ይሞክረዋል። ጁሪዎቹ እኔ፣ በሁለት ዓመት የሚያንሰኝ ወንድሜ ናታን፣ እማዬ እና ጎረቤታችን ሚስ ሎሬይን ነበርን። ሚስ ሎሬይን ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት አውቶብስ ሾፌር ሲሆኑ፣ ከመካከላችን እውነተኛ ጁሪ ሆነው የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ስለነበሩ ፊታቸውን ኮስተር አድርገው እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጡ ነበር። አባቴ በየመሃሉ ቆም እያለ ሥራውን ያስተምረናል። «ችሎት ላይ መልሱን የማታውቁትን ጥያቄ እንዳትጠይቁ» የሚለውን መቶ ጊዜ ሳንሰማው አልቀረንም።

የመጀመሪያው ወንበር የጁሪው ሰብሳቢ ወንበር ነበር፤ እዚያ የሚቀመጠው ናታን ነው። አባቴ ለምን እሱን እንደመረጠው ስጠይቀው፣ «እሱ እስከ መጨረሻው ያዳምጣል፣ አንቺ ጥያቄው ሳያልቅ ትመልሻለሽ» አለኝ። እውነቱን ነበር፤ እኔ ግን አሥራ አንድ ዓመቴ ነበርና እውነት መሆኑ ይብስ አናደደኝ።

የጋሽ ተካ ጉዳይ የመጣው በበረዶው ወራት ነው። ጋሽ ተካና ጋሽ ሰይፉ ሞርስ ሮድ ላይ ታካሚዎችን ሆስፒታል የሚያመላልስ የቫን ድርጅት በአንድ አሮጌ መኪና ጀምረው ያሳደጉ ጓደኛሞች ነበሩ። ጋሽ ሰይፉ፣ ተካ ትልቁን የሆስፒታል ውል በድብቅ በሚስቱ ወንድም ስም ላቋቋመው ሌላ ድርጅት አሳልፎ ሰጠ ብሎ ከሰሰው፤ ከተፈረደበት ጋሽ ተካ በገዛ እጁ ካቆመው ድርጅት ይባረራል፣ ስሙም እንደጠፋ ይቀራል። ጋሽ ተካ ሳሎናችን ውስጥ ካፖርቱን ሳያወልቅ ተቀምጦ፣ «ሰይፉ እኮ ሱ አደረገኝ! የልጄ የክርስትና አባት!» እያለ ደጋግሞ ሲናገር እማዬ ሻይ እንኳ ማቅረብ ረስታ ቆማ ታየው ነበር።

ነገሩን የከፋ ያደረገው ሽምግልናው ነው። ክሱ ከመጀመሩ በፊት ሽማግሌዎች ኖርዝላንድ ውስጥ ጋሽ ወልዴ የሚባሉ የቀድሞ መምህር ቤት ሁለቱንም ለማስታረቅ ሰብስበዋቸው ነበር፤ እዚያም ጋሽ ተካ ብድግ ብሎ፣ ጎንበስ ብሎ፣ «አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በለኝ» ብሏል። እርቁ በሳምንቱ ፈረሰ። ኋላም ጋሽ ተካ ጠበቆች ፊት በመሐላ ቃሉን ሲሰጥ፣ የጋሽ ሰይፉ ጠበቃ ይህን ሰምቶ ኖሮ፣ «አጥፍቻለሁ ብለሃል ወይስ አላልክም?» ሲለው፣ ምሎ መዋሸት የማይሆንለት ጋሽ ተካ «ብያለሁ» አለ። የዚያን ቀን አባቴ ቤት ሲገባ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ቤዝመንት ወርዶ ያንን ማህደር ከፈተ።

እኔም በዚያው ሰሞን የራሴን ማህደር ከፍቼ ነበር። አንድ ደብተር ሽፋን ላይ «የናታን ጉዳይ» ብዬ ጽፌ፣ የወንድሜን ጥፋቶች በቁጥር መመዝገብ ጀመርኩ። አባቴ ገጾቹ ጠርዝ ላይ ትናንሽ ባለቀለም ወረቀቶች ይለጥፍ ነበር፤ አረንጓዴው የሚጠቅመን፣ ቀዩ የሚጎዳን፣ ቢጫው ደግሞ ችሎት ላይ እጁ ባንዴ ሊደርስበት የሚገባ ገጽ ነው። ደብተሬ ያለ ቢጫ ማህደር አልመስል አለኝ። አዲስ ጥቅል መሳቢያ ውስጥ እያለ፣ እኔ የፈለግሁት በአባቴ እጅ ቁጥር የተጻፈባቸውን ስለነበር፣ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መልስ ሰባት ቢጫዎችን ከጋሽ ተካ ማህደር ላይ አንድ በአንድ ላጥኳቸው።

በረዶው ቀልጦ ዛፎቹ ማቆጥቆጥ ሲጀምሩ፣ አባቴ ያ የይቅርታ ቃል ለእርቅ የተነገረ ነውና ማስረጃ አይሁንብን ብሎ ዳኛዋ ፊት ሊከራከር ሄደ። ዳኛዋ «የትኛው ገጽ ላይ ነው?» ሲሉት ማህደሩን ይከፍታል፣ ቢጫ የለም፤ ያገላብጣል፣ ያገላብጣል፣ ዳኛዋ ሰዓታቸውን ያያሉ። ቃሉ ማስረጃ ሆኖ እንዲቀርብ ተፈቀደ። ገጹ በጊዜው ቢገኝ ኖሮ ሐሳባቸውን ይለውጡ ነበር ወይ የሚለውን ዛሬም አላውቅም፤ ያኔ ግን በእኔ ምክንያት የጋሽ ተካ ቤት የፈረሰ መስሎኝ ነበር።

አባቴ አልጮኸም። ሁለታችንን ፊቱ አቁሞ «ማን ነካው?» አለ። እማዬ ግን ቤቷ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ አትወድም ነበር፤ ስንጣላ ማን ጀመረ፣ ስንሰብር ማን ሰበረ ሳትል ሁለታችንንም አሰልፋ ይቅርታ ማስባል ልማዷ ነው። «ማን ነው ማን ነው ምን ያደርጋል፣ ሁለታችሁም አጥፍቻለሁ በሉ» አለች። እኔ ጎንበስ ብዬ «አጥፍቻለሁ» አልኩ። ናታንም አንዴ አየኝና፣ ጎንበስ ብሎ «አጥፍቻለሁ» አለ። ነገሩ በዚሁ ያለፈ መስሎኝ ትንፋሼ መለስ አለ።

በጋው ሲገባ ውጭው እየነደደ ቤዝመንቱ ብቻ ቀዝቃዛ ስለነበር ቅዳሜዎቹ ይረዝሙ ጀመር። አባቴ ከስቶ፣ ሸሚዙ አንገቱ ላይ ሰፍቶት ነበር። የጋሽ ተካን ነገር በአሥር መንገድ ነገረን፤ በአሥሩም ሚስ ሎሬይን ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ ሰውየው በገዛ አፉ አምኗል፣ ሌላ ምን ትፈልጋለህ አሉት። አባቴ ማህደሩን «ቀጭ» አድርጎ ዘጋና ግንባሩን በሁለት እጁ ያዘ። ያንን ሳይ የሆነ ነገር ሰጥቼ ላስደስተው ፈለግሁ፣ እንደ ልማዴም ሳልጠየቅ አፌን ከፈትኩ።

«እኔም እኮ የዚያን ቀን አጥፍቻለሁ ብያለሁ። ግን አልነካሁትም። እማዬ በሉ ስላለች ነው።»

የአባቴ እጅ ከግንባሩ ላይ ቀስ ብሎ ወረደ። ፊቱ እንዲያ ሲበራ ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም፤ እስክሪብቶውን አንስቶ ቆሞ መጻፍ ጀመረ፣ ሚስ ሎሬይንም «እምም» ብለው እጃቸውን ፈቱ። እኔ ደስታው ሞልቶኝ ሳላበቃ አባቴ መጻፉን አቁሞ ቀና አለና፣ ዓይኑን ከእኔ አንስቶ የመጀመሪያው ወንበር ላይ አሳረፈው። ይህን አላሰብኩትም ነበር። እኔ ካልነካሁት የነካው ማን እንደሆነ ለማወቅ ጠበቃ መሆን አያስፈልግም።

«አይ ዲድንት ዱ ኢት» አለ ናታን።

«ታዲያ ያኔ ለምን አጥፍቻለሁ አልክ?»

«እማዬ ሁለታችሁም በሉ አለች።»

«እህትህም ይህንኑ ነው ያለችው» አለ አባቴ፣ ድምፁ ደክሞት። «ለጊዜው ከጁሪው ውረድ። ያለ እኔም እዚህ እንዳትገባ።» ናታን አላለቀሰም፤ ተነሥቶ ወንበሩን አጥፎ ግድግዳው ላይ አስደግፎ ደረጃውን ወጣ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ያንን ወንበር ዘርግቼ የተቀመጥኩበት እኔ ነበርኩ። በየሳምንቱ ዛሬ እናገራለሁ እያልኩ እወርድና፣ አባቴ አዲሱን መንገዱን በጉጉት ሲነግረን ምላሴ እየታሰረ እመለስ ነበር።

ችሎቱ የዋለው ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር ነው። የመጨረሻዎቹን ሁለት ቀናት እማዬ ይዛን ልትሄድ ስትል ናታን «አይም ጉድ»፣ ይቅርብኝ፣ ብሎ ከሚስ ሎሬይን ጋር ቀረ። ጋሽ ወልዴ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ በአስተርጓሚ፣ የምስክር ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። ጋሽ ተካና ጋሽ ሰይፉ አይተያዩም።

«ተካ አጥፍቻለሁ ሲል ሰምተዋል?» አለ አባቴ።

«ሰምቻለሁ።»

«ሰይፉስ ምን አለ?»

«እሱም ተነሥቶ አጥፍቻለሁ አለ።»

«ይህ የሆነው የጠቡን ነገር ከሰማችሁ በኋላ ነው?»

«በፊት ነው እንጂ። እኔ ቤት መጀመሪያ ይቅር ይባባላሉ፣ ነገሩ ከዚያ ነው የሚነሣው።»

«ማን እንዳጠፋ ሳትጠይቁ?»

«እሱን ከጠየቅንማ ማን ይታረቃል?» አሉ ጋሽ ወልዴ፤ ከጁሪዎቹ አንዷ ፈገግ ስትል አየኋት።

በማግስቱ አባቴ የመዝጊያ ንግግሩን ሲያደርግ፣ ሁለት ልጆች ተጣልተው እናታቸው ሁለቱንም ይቅርታ በሉ ብትላቸው፣ ይቅርታ ያለው ሁሉ አጥፊ ነው ትላላችሁ ብሎ ጁሪውን ጠየቀ። ይህን ሲል ዓይኑ አንዴ እኔ ላይ አርፎ ወዲያው ተነሣ። የኮራብኝ መስሎኝ ነበር። ጁሪው ለጋሽ ተካ ፈረደ፤ ጋሽ ተካ አባቴን አቅፎ ሲንሰቀሰቅ፣ ጋሽ ሰይፉ ብቻውን በሩን ከፍቶ ወጣ። ጋሽ ተካ ውሉን በእርግጥ አሳልፎ ሰጥቶ ነበር ወይ ብዬ አባቴን አንዴ ስጠይቀው፣ «ጁሪው ተናግሯል» አለኝ።

ናታን ከዚያ ወዲህ ቤዝመንት አልወረደም፤ ክልከላው ከተነሣ በኋላም «ጁሪ ግቡ» ሲባል ክፍሉ በር ተዘግቶ ይቆይ ነበር። ለአባቴ በእንግሊዝኛ፣ ያውም በአንድ ቃል፣ መመለስ ለመደ። አድጎ ሥራ ይዞ ከቤት ሲወጣም ለበዓል መጥቶ በልቶ የሚሄድ እንግዳ ሆነ። ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ። ቤተሰቡ ሁሉ ናታን ዝምተኛ ነው ሲል፣ ዝምታውን ማን እንዳስጀመረው የማውቀው እኔ ብቻ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

ባለፈው ዓመት አባቴና እማዬ ደረጃ ወደሌለው ቤት ሊዛወሩ ስለሆነ፣ አንድ ቅዳሜ ቤዝመንቱን ልናጸዳ ተሰበሰብን። ናታንም መጣ፤ ጎበዝ ጎልማሳ ሆኗል፣ ደረጃውን ሲወርድ ጣሪያው ጭንቅላቱን ሊነካው ምንም አልቀረው። አባቴ ተጣጣፊ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚጣለውንና የሚቀረውን እያመለከተ፣ «ተካ» የሚል ካርቶን ላይ ስንደርስ «እሱን ተዉት» አለ። ናታን ግን ከፍቶት ነበር። ከማህደሮቹ ሥር፣ ያኔ ከአልጋዬ ሥር ሲጠፋ እማዬ የጣለችው የመሰለኝን ደብተር አወጣ።

«የናታን ጉዳይ» ብሎ ሽፋኑን አነበበ፣ ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየለቀመ። «ናታን ብርቱካን ጁሱን ጨርሶ ባዶውን ካርቶን ፍሪጅ ውስጥ መለሰ። ቀይ።» ሳቀ። ገጹን ሲያገላብጥ ጠርዙ ላይ የደበዘዙ ቢጫ ወረቀቶች ነበሩ፣ በአባቴ እጅ ቁጥር የተጻፈባቸው። ሳቁ ቆመ።

«እኔ ነኝ የነካሁት» አልኩ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ። «አጥፍቻለሁ፣ ናታን።»

ናታን ወደ እኔ አልዞረም፤ አባቴን ነበር የሚያየው። ደብተሩን ካርቶኑ ውስጥ ያኖረው ሌላ ማንም ሊሆን አይችልም።

«የችሎቱ ሳምንት፣ አልጋዋ ሥር ነው ያገኘሁት» አለ አባቴ። «ክርክሬን የሠራሁት በእሷ ቃል ነበር። ብጠይቃት ምን እንደምትለኝ አወቅሁና ዝም አልኩ። ካለቀ በኋላ ነገ እነግረዋለሁ፣ ነገ እነግረዋለሁ ስል…» ወንበሩን ተደግፎ ተነሣ፤ ጉልበቱ እንቢ እያለው፣ በልጁ ፊት ጎንበስ አለ። «አጥፍቻለሁ።»

እማዬ ከላይ ዕቃ ስታንኳኳ ይሰማ ነበር። ናታን ደብተሩን እንደያዘ ትልቁን ሰውነቱን፣ እንደ ዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ ቀስ ብሎ አጎነበሰ።

«እኔም አጥፍቻለሁ» አለ፣ በተሰባበረ አማርኛው።

«አንተ ደግሞ ምን አጠፋህ?» አለ አባቴ። ይህን ጥያቄ መልሱን ሳያውቅ ነው የጠየቀው።

«አይ ዶንት ኖው፣ አባባ። እማዬ ሁለታችሁም በሉ አለች።»

በልጅነቴ ያ ቃል ከነገር ለመገላገል ቶሎ የሚባል፣ ተብሎም የሚረሳ ነበር፤ እኔም ዋሽቼበት አምልጫለሁ። አሁን የራሴ ልጆች ሲጣሉ ሁለቱንም አሰልፌ አጥፍቻለሁ አስብላቸዋለሁ። ከዚያ በኋላ ግን ለየብቻ እየጠራሁ፣ መልሱን ባላውቀውም፣ እጠይቃቸዋለሁ።