ዜሮዋን መቁረጥ

ባለፈው እሑድ ኮምቦልቻ ውስጥ፣ የጭነት መኪና ሾፌሮች በሚያዘወትሩት አንድ ምግብ ቤት ምሳዬን ስበላ፣ ከፊት ለፊቴ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች በሂሳብ ተያያዙ። ጠብ አይደለም። የኛ አገር ሰው አብሮ በልቶ ሲያበቃ የሚገጥመው የተለመደው ግብግብ ነው። «ወላሂ አትከፍልም!» «እጄን ልቀቅ፣ ያለፈውም ያንተ ነበር።» አንደኛው ጎልማሳ ነው፤ ሌላው ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። ዛሬ ሂሳብ በስልክ ስለሚከፈል ትግሉ ከኪስ ወደ ስልክ ተዛውሯል። ልጁ ስልኩን ከፍ አድርጎ ይዞ አስተናጋጇን «ቁጥሩን ንገሪኝ፣ ወላሂ የምልከው እኔ ነኝ» ይላታል። ከኔ ሌላ ያስተዋለ ሰው መኖሩን እንጃ፤ የስልኩ መስታወት ጥቁር ነበር። አልተከፈተም።

ማንኪያዬን አስቀመጥኩ። ያንን ጥቁር መስታወት አውቀዋለሁ። በኔ ጊዜ መስታወት አልነበረም እንጂ፣ ኪስ ገብቶ የማይወጣ እጅ ነበር።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ከሐርቡ መጥቼ ኮምቦልቻ አንድ የክር ፋብሪካ ውስጥ እሠራ ነበር። ግጥምም እጽፋለሁ። ያስተማረኝ የለም፤ በማሽኑ ጩኸት ውስጥ ለራሴ እያንጎራጎርኩ፣ ቤት እየመታሁ ለመድኩት። ማታ ስወጣ ፀጉሬ ላይ ጥጥ፣ አፌ ውስጥ ሁለት ስንኝ ይዤ እወጣለሁ። አንድ ቦታ መቀመጥ አልችልም ነበር፤ በወር ደሞዜ ላይ እንኳን አልቀመጥም፣ ሳይነጋ ትበናለች።

ሐያትን ያገኘኋት ኮምቦልቻ ኮሌጅ ስትማር ነው። ቤተሰቧ ደሴ ነው። አባቷ ስለሞተ ኃላፊዋ ታላቅ ወንድሟ ጀማል ነበር፤ ሰኞ ገበያ ውስጥ ጨርቅ የሚሸጥ፣ ወፍራም፣ ሲናገር ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው። እሷን ማግባት የሚፈልግ የጀማልን «እሺ» ማግኘት አለበት። ጀማል ደግሞ እሺም እምቢም አይልም። ምሳ ይጋብዛል።

ሦስት ጊዜ ጋበዘኝ። ሦስቱንም ጊዜ ምግቡ ሲያልቅ ታገልኩ፣ ሦስቱንም ጊዜ ተሸነፍኩ። በኛ ዘንድ ለሂሳብ የማይታገል እንግዳ ነውረኛ ነው፤ ታግሎ የተሸነፈም ባዶ እጁን አይነሳም፣ የአስተናጋጇ ቲፕ የሱ ድርሻ ናት። ይህን ሕግ የጻፈው ሰው የለም፤ የማያውቀውም የለም። ለኔ ዓይነቱ ደግሞ የተመቸ ሕግ ነው። ሙሉ ሂሳብ ይዞ መሄድ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ሰዎቹ ሲያዝዙ ጆሮን ከፍቶ መደመር፣ ከድምሩ መጨረሻ ላይ አንድ ዜሮ መጣል ብቻ ነው። ሁለት መቶ ከበሉ ሃያ። ሦስት መቶ ከበሉ ሠላሳ። በጣም ከከፋ ደግሞ የዚያን ግማሽ፣ አምስት ፐርሰንት፤ እሱም አያሳፍርም።

ይህን ዘዴ አንድ ቀን ለሐያት በስልክ ነገርኳት። «ጀማል ያዝዛል፣ እኔ ዜሮዋን እቆርጣታለሁ። አሥር ፐርሰንት ይዤ እንደ ሀብታም እበላለሁ» አልኳት። ሳቀች። ሳቋን ለመስማት ከዚያም የባሰ ነገር ልነግራት እችል ነበር።

አራተኛው ግብዣ የጥቅምት እሑድ ነበር። ከኮምቦልቻ በሸሚዝ ወጥቼ ደሴ ስደርስ ብርዱ ብብቴ ገባ። ኪሴ ውስጥ ሰማንያ አምስት ብር አለ። ምግብ ቤቱ ከገበያው ወረድ ብሎ ነው፤ የፍየል ሥጋና የሮዝመሪ ሽታ ከበሩ ይቀበላል። ጀማል ሐያትንና ኢብሬ የሚባል ነጋዴ ጓደኛውን ይዞ ቀድሞኝ ተቀምጧል። ኢብሬ ቀጭን፣ ጥርሱን መሸፈን የማይችል፣ ጀማል ካልሳቀ የማይስቅ ሰው ነው።

«ና ገጣሚው» አለኝ ጀማል። «ተርበሃል አይደል? ክር አይበላም።»

ሁለት ኪሎ ፍየል አዘዘ፣ አንዱ ጥብስ አንዱ ቅቅል። ከዚያ ሩዝ። ለአራታችንም ጭማቂ። እኔ ፈገግ እያልኩ እደምራለሁ፤ አራት መቶ፣ አርባ። ጀማል አስተናጋጇን መልሶ ጠራት። ዱለት። ሌላ ግማሽ ኪሎ ጥብስ። አምስት መቶ ሃምሳ፣ ሃምሳ አምስት። ጥብሱ በሸክላ እየጮኸ መጣ፤ ጣፋጭ ነበር፣ ግን እያንዳንዱ ጉርሻ ጉሮሮዬ ውስጥ ቁጥር ሆኖ ይወርዳል። ሁለተኛ ዙር ጭማቂ። ስድስት መቶ አርባ፣ ስልሳ አራት። ልቤ ተረጋጋ። ስልሳ አምስት ለቲፕ፣ አሥር ለመኪና፣ አሥር ደግሞ ለነገ ቁርስ። አደጋው አለፈ አልኩ።

አስተናጋጇ ሂሳቡን በትንሽ ሳህን ይዛ መጣች። የጀማል እጅ ገና ሳይንቀሳቀስ ብድግ አልኩ፣ እጄን ኪሴ ከተትኩ። «ጋሼ ጀማል፣ ዛሬ የኔ ነው። ወላሂ እርስዎ አይከፍሉም!»

ጀማል ወንበሩ ላይ ደገፍ አለ። እጆቹን ሆዱ ላይ አጣመረ።

«ማልክ?» አለኝ።

«እ?»

«ወላሂ አልክ። ወላሂ ቀልድ አይደለም። እሺ፣ ክፈል።»

ኢብሬ ጀማልን አየውና ሳቀ። «ማሻአላህ፣ አማች ማለት እንዲህ ነው።»

አስተናጋጇ ሳህኑን ወደ እኔ አዞረች። «ስድስት መቶ አርባ» አለች። በትክክል ደምሬ ነበር። እጄ ኪሴ ውስጥ ቀረ፤ ብሮቹን ጨብጫለሁ፣ ላብ አርሷቸዋል።

«አውጣዋ» አለ ኢብሬ። «እጅህን እያሞቅክ ነው? ብርዱ ነው ያስቸገረህ?»

ከጎናችን ያሉ ሰዎች መብላት አቁመው ነበር። «ጋሼ ጀማል...» ብዬ ጀመርኩ። የሚቀጥለው ቃል ግጥም ለሚጽፍ ሰው እንኳ አይገኝም።

«ስንት ይዘሃል?» አለኝ፤ ድምፁ ለታመመ ሰው የሚነገርበት ነው።

«ሰማንያ አምስት።»

«የስድስት መቶ አርባ ስንት ፐርሰንት ይሆናል? ሂሳብ ትችላለህ አሉ።» ወደ ፊት ጎንበስ አለና ቃላቱን አንድ በአንድ አስቀመጣቸው። «ዜሮዋን ቁረጣት እስቲ።»

ዞሬ ሐያትን አየኋት። አንገቷን ደፍታ ሩዙን በማንኪያ ወዲያና ወዲህ ትገፋለች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ቀና አላለችም።

የሰው ጭንቅላት ጌታው ሲዋረድ አብሮ ቢቆም ደግ ነበር። የኔ አልቆመም። ሳልፈልገው ይቆጥራል። ዜሮዋ ስትቆረጥ ስልሳ አራት፣ ይህ አሥር ፐርሰንት ነው። የቀረኝ ሃያ አንድ። አንዷ ፐርሰንት ስድስት ብር ከምናምን፤ ሦስቷ አሥራ ዘጠኝ።

«አሥራ ሦስት» አልኩ።

«ጮክ በል።»

«አሥራ ሦስት ፐርሰንት።»

ጀማል ወደ እህቱ ዞረ። «ሰማሽ ሐያት? አሥራ ሦስት ፐርሰንት ባል መጥቶልሻል። ሰማንያ ሰባቱን ማን ይሙላው? እኔ?»

«በግጥም ይሙላዋ» አለ ኢብሬ።

ከዚያ ጀማል ብር አወጣ፣ ሳይቆጥር ሳህኑ ላይ ጣለ። «ቲፑን እንኳ አትርሳ፣ ድርሻህ ነች» አለኝ። ሰማንያ አምስቱንም አውጥቼ አስቀመጥኩ። ያኔ ጀግንነት መስሎኝ ነበር። አስተናጋጇ በኔ ዕድሜ ያለች ልጅ ነች፤ ብሩን አየች፣ ፊቴን አየች፣ ከመሃል አንዷን አሥር ብር መዘዘችና በቀስታ ወደ እኔ ገፋቻት። «ለመኪና ያዛት ወንድሜ» አለች። በዚያ ጠረጴዛ ላይ ከተባለው ሁሉ የከፋው ይህ ነበር። ኢብሬ አሁን ጀማልን ሳይጠብቅ ሳቀ። አሥር ብሯን ሳልነካ ወጣሁ።

ከደሴ ኮምቦልቻ በእግሬ ወረድኩ። በመኪና ሲሆን አንድ ካሴት ተሰምቶ ሳይጨረስ የሚያልቅ መንገድ፣ በእግር ሲሆን ሌላ አገር ነው። ላይኛው ጫፍ ጉምና ባሕር ዛፍ ነው፤ ሐረጎ ተራራ ላይ ጥምዝምዙን ስይዝ ጉሙ ከኋላዬ ቀረ፤ ዝቅ ስል ማሽላው ቆሟል፣ ሜዳው ይሞቃል፣ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣበቀ። ሚኒባሶች እየተጠጉኝ ረዳቶቹ «ኮምቦልቻ፣ አንድ ሰው!» ይላሉ። አንድ ሰው ነበርኩ፤ መክፈል አልችልም እንጂ። መንገዱ እግሬን ሲበላው፣ እንደ ልማዴ አፌ ሥራውን ጀመረ፤

አሥር ይዞ ወጥቶ መቶ ተጠየቀ፤
ቁልቁለቱን ይውረድ፣ እግሩ ካላለቀ።

ጥሩ ስንኝ ነች። አሳፋሪው ደግሞ ጥሩ መሆኗን እዚያው ማወቄ ነው፤ ስንኟ ስትገጥም ለአንድ አፍታ ደስ አለኝ።

ፀሐይ ስትጠልቅ ኮምቦልቻ ገባሁ። ስልኬ ላይ ከሐያት መልእክት ነበር። «ለምን ሄድክ? ጀማል ሲቀልድ ነው እኮ።» አልመለስኩላትም። በወላሂ ምዬ መሐላዬ ስለፈረሰ በሃይማኖታችን ዕዳ ነበረብኝ፤ አሥር ድሃ ማብላት፣ ያልቻለ ሦስት ቀን መጾም። ከአሥሩ ድሃ አንዱ እኔው ስለሆንኩ ጾምኩ። ማሽኑ ስር ቆሜ፣ ከንፈሬ ላይ ጥጥ እየተለጠፈ። በዓመቱ ሐያትን ሰኞ ገበያ ሱቅ ያለው ሰው አገባት። ሙሉ ሂሳብ ይዞ የሄደ ነው መቼም።

ዘዴዬን ለወንድሟ የነገረችው በፍቅር፣ እኔን ልታስወድድ ብላ ይሆን ወይስ ሊስቁ ብለው፣ ስንት ጊዜ አወጣሁ አወረድኩ። ሁልጊዜ የሚያድነኝ አንድ ነገር ነበር፤ ያ የተደፋ አንገት፣ ያ የሚንቀጠቀጥ ትከሻ። ስለኔ አለቀሰች እል ነበር። ብዙ ግጥም ጽፌበታለሁ። አንዳንዱን ሰው ወዶታል።

ባለፈው እሑድ ግን፣ ልጁ ጥቁሩን ስልክ ይዞ እንደቆመ፣ ጎልማሳው ድንገት እጁን ሰበሰበ። ወንበሩ ላይ ደገፍ አለ። «እሺ» አለው። «ማልክ አይደል? ላክላት።»

የልጁ አውራ ጣት መስታወቱ ላይ ደርቆ ቀረ። አንገቱ ላይ ያለው ሥር ሲመታ ከተቀመጥኩበት ይታየኛል። ብድግ ብዬ ልከፍልለት እችል ነበር፤ ዛሬ ኪሴ ለዚያ አያንስም። አልተነሳሁም። ሂሳቡ ስምንት መቶ ሰባ መሆኑን ሰምቼ ዜሮዋን ቆርጬ ነበር፤ ሰማንያ ሰባት። እሷንም የያዘ አይመስልም፣ ከግማሿ በታች ነው፣ ምናልባት አራት ፐርሰንት፤ እያልኩ እቆጥራለሁ።

ጎልማሳው ትንሽ አቆይቶ ሳቀ፣ «ቀልዴን ነው፣ ቁጭ በል» አለውና ከፈለ። ልጁም ሳቀ፤ የሳቀው አፉ ብቻ ነው። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን፣ ጣቱ እንደደረቀ በነበረችው በዚያች አፍታ፣ ልጁ ፊቴን እንዳያየኝ አንገቴን ሳህኔ ላይ ደፍቼ ነበር። ሩዙን በማንኪያ እገፋለሁ። ማንኪያው ሳህኑን ቀጭ ቀጭ ሲያደርገው ነው ትከሻዬ በሳቅ እየተንቀጠቀጠ መሆኑን ያወቅሁት።

ለካ ሐያት እያለቀሰች አልነበረም።