ገረዲቱ ለምን ጠቆመች

በዚያ ቲያትር ቤት ላስቲክ የምትባለው ተዋናይት ያልሞተችው ሞት የለም ማለት ይቻላል። ታንቃለች፣ ተገርፋለች፣ ከደረጃ ላይ ተወርውራለች፣ ሰካራም ባል ጥርሷን አርግፎታል። አንድ ጊዜም አውሬ በልቷታል፤ አውሬው መጋረጃ ሳቢው ነበር። ደራሲ የሚባል ፍጡር ሁሉ አንድ የሚደበደብ ሰው ሳይጨምር ድርሰት አይጨርስም፤ የሚደበደብ ሰው ከተጻፈ ደግሞ እሷ ትጠራለች። ቅጽል ስሙን ያወጣላት ግንዱ ነው። ግንዱ በየድራማው ገራፊ፣ ወንበዴና ጨካኝ ባል ሆኖ የሚጫወት፣ በበር ሲገባ ጎንበስ የሚል፣ ቤቱ ግን ዶሮ ሲታረድ ላለማየት ደጅ የሚወጣ ሰው ነው። አንድ ቀን ከጠረጴዛ ላይ ወርውሯት ገና እጁን ሳይሰበስብ ተነሥታ አቧራዋን ስታራግፍ አይቶ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ላስቲክ ነሽ እንዴ?» አላት። ስሙ በዚያው ጸደቀ።

የመድረክ ዱላ የራሱ ጥበብ አለው። ተመልካቹ የሚያየው ግንዱ ሲመታት ነው፤ ሥራውን ሁሉ የምትሠራው ግን ተመቺዋ ናት። የግንዱ መዳፍ ጉንጯ አጠገብ ሽው ብሎ ሲያልፍ እሷ ከደረቷ ሥር ሁለት እጆቿን ጧ ታደርጋለች፤ ጥፊው የጮኸው እዚያ ነው። ፀጉሯን ይዞ ሲጎትታት እጁ ፀጉሯ ላይ ዐርፏል እንጂ አልጨበጠም፤ ክንዱን በሁለት እጇ አንቃ ራሷን የምትጎትተው እሷው ናት። ተመቺው ካልፈቀደ መድረክ ላይ ማንም አይመታም። ላስቲክ ይህን ሕግ ትወደው ነበር። በልጅነቷ ያየችው ዱላ እንዲህ ያለ ሕግ አልነበረውም።

ታዲያ አንድ አዲስ ድርሰት መጣ። በአንድ ሰፈር ሕጻናት ይሞታሉ፤ ሕዝቡ «መተተኛ አለች» ይላል፤ ችሎት ይቆማል። አንዲት ገረድ ተይዛ፣ ግብረ አበሮቿን እስክትናገር ትደበደባለች፤ በመጨረሻም አንዲት መበለት ትጠቁማለች፤ መበለቲቱ በፍልጥ ተቀጥቅጣ ትሞታለች። የገረዲቱ ሚና ለላስቲክ ተሰጣት። እስከዚያ ቀን ድረስ «ወይኔ!» እና «አትግደለኝ!» ከማለት ያለፈ ቃል ደርሷት አያውቅም ነበርና ቤቷ ገብታ በሩን ዘግታ ብቻዋን ጨፈረች።

አዘጋጁ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ «መነጽሬን ያያችሁ?» የሚል ሰው ነው፤ የሰው ልብ ግን ለማየት መነጽር አይፈልግም። የመጀመሪያው ልምምድ ላይ ሁሉንም በእንጨት ወንበር ክብ አስቀምጦ አንድ በአንድ ጠየቃቸው።

«ዳኛው ለምን ይፈርዳል?»

«የመበለቲቱን ግቢ ፈልጎ» አለ ዳኛውን የሚጫወተው።

«ጎረቤትየው ለምንድን ነው በሐሰት የሚመሰክረው?»

«ልጁ ሞቶበታል። ትኩሳትን እንዴት አድርጎ ይጣላ? ሰው ያስፈልገዋል።»

«ገራፊውስ?»

ግንዱ ራሱን አከከ። «እሱ ካልገረፈ እሱን ይገርፉታላ» አለ። ሁሉም ሳቁ። አዘጋጁ ግን አልሳቀም፤ «ጥሩ ነው፣ ይህችን ምክንያት እንዳትለቃት» አለውና ወደ ላስቲክ ዞረ።

«ገረዲቱስ? ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ለምን መበለቲቱን ትጠቁማለች?»

«ቀንታ ነዋ» አለች ላስቲክ። ለዚህ ጥያቄ ከልጅነቷ ጀምሮ የምታውቀው መልስ ይኸው ነበር።

ልምምዱ ግን አልሄድ አለ። ድብደባው ያስፈራል፣ ለቅሶዋ አንጀት ይበላል፣ መጠቆሙ ላይ ሲደርሱ ግን ክንዷ እንደ ተሰበረ የበር እጀታ ይንጠለጠላል። አዘጋጁ ደጋግሞ ካስቆማት በኋላ ወደ ጎን ወሰዳት።

«አፍሽ ይቀናል፤ እጅሽ ግን አይቀናም። ምክንያቱን አልያዝሽውም። እስከ ዓርብ ካላገኘሽው ሚናውን ለሌላ ሰው ልሰጠው ነው፣ አትቀየሚኝ። ድርሰቱ የቆመው በዚያች ጣት ላይ ነው።»

አልተቀየመችውም። ልክ እንደሆነ ታውቃለች። ሚናውን ማጣቱም ብቻ አልነበረም ያስጨነቃት፤ ያ መልስ ውሸት ከሆነ ዕድሜ ልኳን ይዛው የኖረችው ነገር ውሸት ሊሆን ነው።

እናቷ ልብስ ሰፊ ነበረች። አንድ ግቢ ውስጥ ከተደረደሩት ክፍሎች በአንዱ ሁለቱ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። አንድ ዓመት የሰፈሩን ሕጻናት ትኩሳት ይለቅማቸው ጀመር፤ ሐዘኑ ሲበዛ ሰዉ በዳይ ፍለጋ ወጣ። መጀመሪያ የተያዘችው በግቢው ጥግ የምትኖረው ልብስ አጣቢ ናት። ባል የላትም፣ ዘመድ የላትም፣ ከሞቱት ልጆች የአንዱንም ልብስ አጥባለች። ግቢው መሐል አውጥተው «ከማን ጋር ነው የምትሠሪው?» እያሉ በፍልጥ ወቀጧት። እናቷ መቀሷን አስቀምጣ፣ «ከአልጋው ሥር ብትወጪ እገድልሻለሁ!» ብላት ወጣች። ትንሽ ቆይቶ አጣቢዋ ጠቆመቻት።

ላስቲክ ከአልጋው ሥር ሆና በተከፈተው በር ያየችው እግር ብቻ ነው። ባዶ እግር፣ ቦት ጫማ፣ የምታውቀው የጎረቤት ነጠላ ጫማ። እውነተኛ ዱላ ጧ አይልም፤ እርጥብ ልብስ ድንጋይ ላይ ሲወቃ እንደሚሰማው ነው ድምፁ። አጥንት ሲሰበር ሰማች። ከዚያ የእናቷ ፊት ከእግሮቹ መካከል መሬት ላይ ወደቀ፤ አንዱ ዓይኗ ጠፍቷል፤ በቀረው ዓይኗ በቀጥታ ልጇን አየች። ወዲያው ጨፈነችው። ወደ አልጋው ሥር ስታይ እንዳያዩባት ነው። አንዱ ቦት ጫማ አንገቷ ላይ ሲቆም እንኳ አልገለጠችውም።

ያሳደገቻት አክስቷ እስክትሞት ድረስ፣ «ቀንታ ነው! ለስፌት መኪናዋ ቀንታ ነው ያስበላቻት» ትል ነበር። ላስቲክም አመነች። እናቷ ለምን እንደወጣች ግን አንድም ቀን ጠይቃ አታውቅም።

አጣቢዋ በሕይወት እንዳለች ሁልጊዜም ታውቅ ነበር። ከዓርብ በፊት ባለው ቀን ሄደች። ከአንድ ሆስፒታል ጀርባ ያለ የልብስ ማጠቢያ ቤት ነው፤ እንፋሎቱ ፊት ያረጥባል፤ አንሶላው እስከ ጣሪያ ተከምሯል። አሮጊቷ ጥግ ላይ ቆማ ትተኩሳለች። ጣቶቿ ተሰብረው እንደ ነገሩ የተገጠሙ ናቸውና ካውያውን የምትይዘው በእጇ አንጓ ጭምር ነው።

«እማማ፣ ያውቁኛል?»

አሮጊቷ አንድ ጆሮዋን አዙራ ሰማቻት፤ ከዚያም ቀና ብላ አየቻት። «የልብስ ሰፊዋ ልጅ» አለች። «ዓይንሽ የሷው ነው። ቆየሽ።»

ላስቲክ መንገዱን ሁሉ ስታሰላስል የመጣችው ንግግር ጠፋባት። «ለምን እናቴን?» አለች ብቻ።

«መጥታ ነበራ።»

«ምን ማለት ነው መጥታ ነበር?»

«ሌላው ሁሉ በሩን ዘግቷል። እሷ ብቻ ወጣች። 'ተዉአት፣ ምን አደረገቻችሁ!' እያለች እየገፋቻቸው መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለች። ስም ስጪ ይሉኛል፣ ጭንቅላቴ ውስጥ አንድም ስም አልነበረም። የራሴንም ስም ብትጠይቂኝ አላውቀውም። ዓይኔን ስገልጥ ያየሁት የሷን ፊት ነው።»

«ለስፌት መኪናዋ ቀንተሽ አይደለም?» ከአንቱታ መውረዷን ራሷም አላስተዋለችም።

«የምን ስፌት መኪና?» አለች አሮጊቷ፤ ከልቧ ግራ ገብቷት።

ላስቲክ ያን ጊዜ መታቻት። በዚያ ሁሉ ዘመን በውሸት ስትደበደብ ኖረች እንጂ ሰው መትታ አታውቅም፤ ይህ እውነተኛ ነበር። የአሮጊቷ ራስ ከመደርደሪያው ተጋጨ፤ ከንፈሯ ተሰነጠቀ፤ ደሙ የተተኮሰው አንሶላ ላይ ተንጠባጠበ። ላስቲክ መዳፏ ተቃጠለባት፤ እውነተኛ ጥፊ የመቺውንም እጅ እንደሚያቃጥል አታውቅም ነበር። እንደገና እጇን አነሣች።

«በዚህ በኩል አድርጊው» አለች አሮጊቷ ሌላውን ጉንጯን አዙራ። «ይህ ጆሮ ያኔውኑ ሞቷል። የምሰማው በዚያኛው ብቻ ነው።»

ላስቲክ እየሮጠች ወጣችና ከአጥሩ ሥር ቆመች። ጥላቻው አልወጣላትም። ቅናት ቢሆን ይሻላት ነበር። የቀናን ሰው መጥላት ቀላል ነው፤ እናቷ ግን ደግ በመሆኗ፣ ከበሩ በመውጣቷ ነው የሞተችው። ይህን ማንን ይዛ ትጣላው?

ዓርብ ልምምድ ላይ መበለቲቱን የምትጫወተውን አንጋፋ ተዋናይት፣ «እትዬ፣ ዛሬ ስደበደብ ከሕዝቡ መሐል ወጥተሽ ነይልኝ፤ አንሺኝ» አለቻት።

«መበለቲቱ ለምን ትመጣለች?» አለ አዘጋጁ።

«ሌላ ማንም ስላልመጣ።»

አዘጋጁ መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ አደረገው። «እስቲ ሞክሩት» አለ። ሞከሩት። ከዚያ በኋላ ሚናውን ለሌላ ስለመስጠት የተነሣ ነገር የለም።

ቲያትሩ በተከፈተበት ምሽት አዳራሹ ጢም አለ። ላስቲክ ለአሮጊቷ መግቢያ ልካላታለች፤ ለበጎ አልነበረም፣ አይታ እንዲያማት ነው። ግንዱ በስፖንጅ የተጠቀለለውን ፍልጥ አነሣ። እንደዚያ ምሽት ተደብድባ አታውቅም። መሬት ለመሬት ተጎተተች፣ ከችሎቱ ደረጃ ተሽቀንጥራ ወረደች፣ ከአፏ ቀይ ቀለም ፈሰሰ፤ አንዴም ፍልጡ አምልጦት ትከሻዋን በእውነት አገኛት። ግንዱ በሹክሹክታ «ይቅርታ፣ ይቅርታ» እያለ፣ በጩኸት «ስም ስጪ!» ይላታል። መበለቲቱ ሕዝቡን ገፍታ መጣች፤ ራሷን ጭኗ ላይ አደረገችላት። ላስቲክም እጇን ዘርግታ፣ አዳራሹ እስኪሰነጠቅ «እሷ ናት!» ብላ ጮኸች። የመድረኩ ሕዝብ መበለቲቱ ላይ ሰፈረባት። ተመልካቹ ቆሞ አጨበጨበ። አዘጋጁ ግንባሯን ሳማት።

ሰዉ ሲወጣ አሮጊቷ በመልበሻው ክፍል ኮሪደር ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። ከንፈሯ ገና አልዳነም።

«ዱላውስ ዱላ ይመስላል» አለች። «ግን ጮኽሽ።»

«ምን?»

«ስትጠቁሚ ጮኽሽ። እኔ አልጮኽኩም። ቀስ ብዬ ነው ያልኩት። እናትሽ እንዳትሰማ ብዬ።»

ላስቲክ በግማሽ የጠረገችው ቀይ ቀለም አገጯ ላይ እንዳለ ቀረ። «ሰማች?»

«ራሴ ጭኗ ላይ ነበር። ደሜን በቀሚሷ ጫፍ ትጠርግልኝ ነበር። ጆሮዋ እዚህ ነበር።» አሮጊቷ ጠማማ ጣቶቿን ወደ አፏ አስጠጋች። «እንዴት አትሰማም?»

«ምን አለችሽ?»

«ምንም። መጥረጓን አልተወችም፤ እስኪጎትቷት ድረስ።»

ላስቲክ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፤ ሳይሰስት የሚያለቅስ ሰው እንደሚያለቅሰው፣ በንፍጥና በእንባ። ይቅር አላለቻትም። ይቅርታ የሚባለው ነገር በዚያ ሰዓት የት እንዳለ ብትፈልገውም አታገኘውም ነበር። በኋላ ግን ደረጃው ጨለማ ነውና ክንዷን ይዛ አወረደቻት።

በማግስቱ ምሽት አንጋፋዋን ተዋናይት ደሟን እንድትጠርግላት ከመለመኗ በቀር ለማንም ምንም ሳትናገር መድረክ ላይ ወጣች። ዱላው ያው ዱላ ነው። መበለቲቱ ያው መጣች፤ ራሷን ጭኗ ላይ አድርጋ ደሟን በቀሚሷ ትጠርግላት ጀመር። ግንዱ «ስም ስጪ!» ብሎ አንባረቀ። ላስቲክ እጇን አላነሣችም። ጣቷን ብቻ ከመሬት ቀና አደረገችና፣ መበለቲቱ እንዳትሰማ የምትፈልግ ሰው እንደሚናገረው፣ «እሷ ናት» አለች።

መድረኩ ላይ የቆመው ሕዝብ አልተነቃነቀም። ፍልጥ የሚያነሣው ጩኸቷን ሲሰማ ነው፤ ጩኸት የለም። ግንዱ ፍልጡን እንደያዘ ግራ ገብቶት ቆመ። ከኋላ ወንበሮች አንድ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ምን አለች?» ብሎ ጠየቀ።

«ጠቆመች እኮ።»

«ማንን?»

ፊት ተቀምጠው የሰሙት ወደ ኋላቸው ዞረው ለሚቀጥሉት ነገሩ፤ እነዚያም ለሚቀጥሉት። «መበለቲቱን።» «ማንን ነው ያለችው?» «መበለቲቱን ነዋ!» ወሬው በሹክሹክታ ከወንበር ወንበር ወደ ኋላ ሄደ፣ ደረጃውን ወጣ፣ ሰገነቱ ላይ ደረሰ። ላስቲክ መሬት ላይ እንደተኛች እያንዳንዱን ሰማች። መበለቲቱ ትጠርግላታለች። በመጨረሻ ከሰገነቱ ጥግ አንድ ሰው፣ ክፋት ኖሮበት ሳይሆን አጠገቡ ላለው ጆሮ የደከመው አባቱ እንዲሰማ ብሎ፣ «መበለቲቱን!» ብሎ ጮኸ።

የመድረኩ ሕዝብ ፍልጡን ያነሣው ያን ጊዜ ነው።