ለሰንበት የተሠራ ጌጥ

ክፍሉ ጠባብ ነበር። ግድግዳው እስከ ወገብ አረንጓዴ፣ ከዚያ በላይ ነጭ ተቀብቷል። ሁለት የብረት አልጋ፣ አንዲት ትንሽ መስኮት፣ ከመስኮቱ ውጭ የአውቶቡስ ድምፅ። መጀመሪያ ያሰብኩት ነገር ቢኖር ልስኑ በደንብ እንዳልተሠራ ነው። የሸክላ ሠሪ ልጅ ነኝና እስር ቤትም ብገባ ዓይኔ የሚሄደው ወደ ስንጥቁ ነው።

በፈረንጅ አቆጣጠር የሰማንያዎቹ አጋማሽ ነበር። እኛ ቤተ እስራኤሎች በሱዳን በኩል እስራኤል ከገባን ገና ሁለት ዓመት አልሞላንም። እኔ እናቴን ጎንደር ትቻት ነው የመጣሁት፤ በእግሯ ያን ሁሉ መንገድ መሄድ አትችልም ነበር። ሌላው ልጁን፣ ሌላው ሚስቱን ትቷል። «አምጡልን» ብለን ብንጮኽ የሚሰማን ስላጣን፣ አንድ ሐሙስ በምንኖርበት በፔታህ ቲክቫ ከተማ መሃል መንገድ ላይ ተቀመጥን። አውቶቡሶች ቆሙ። ሹፌሮቹ ጥሩምባ ነፉ፣ ተሳደቡ፤ አንዱ ግን ወርዶ ውሃ ሰጠን። ፖሊሶቹ ተነሡ አሉን፤ እንቢ አልን። እኔን ለሁለት ተሸክመው ዳር አደረሱኝ፤ በሠርጌም ቀን እንዲያ አልተከበርኩም። ሌሎቹ ሴቶች ዳር እንደደረሱ እዚያው ቀሩ። እኔና አንዲት አሮጊት ግን ተመልሰን ስለተቀመጥን ታሰርን።

አሮጊቷን እማማ እላቸው ነበር። አንድ ልጃቸው ሱዳን መጠለያ ውስጥ ቀርቷል። ዕብራይስጥ አንዲት ቃል አያውቁም፤ የማስተረጉመው እኔ ነኝ።

በቀሚሴ ኪስ በናይሎን የተጠቀለለ ጭቃ ነበረኝ። ጭቃ አልኩት እንጂ አፈር የለበትም። አሚሻቭ በሚባለው ሰፈራችን ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የምትኖር ከአርጀንቲና የመጣች ጎረቤት ናት ያስተማረችኝ። የበቆሎ ዱቄትና ነጭ የእንጨት ሙጫ፣ ትንሽ ዘይትና የሎሚ ጠብታ ጨምሮ፣ ከድስቱ እስኪላቀቅ ለዘብ ባለ እሳት ማማሰል፤ ከዚያ ደህና አድርጎ ማሸት። እሷ «ቀዝቃዛ ፖርሴሊን» ትለዋለች፤ የተሠራው ነገር እቶን ሳይገባ በአየር ብቻ ስለሚደርቅ ነው። ሲደርቅ እንደ ሲኒ ይጠነክራል። አበባና ቅጠል እየሠራሁ ለሠርግ ዕቃ ሱቅ አስረክብ ነበር። እጄ ሥራ ፈትቶ መዋል ስለማይወድ መንገድ ልንቀመጥ ስንወጣም ይዤው ወጣሁ።

ጠባቂዋ ስትፈትሸኝ ጨመቀችው፤ አሸተተችው።

«ማ ዜ?» አለች፤ ምንድን ነው ማለቷ ነው።

«ለኪሹት ነው» አልኳት፤ ለጌጥ።

ትከሻዋን ሰበቀችና «በሰደር»፣ ይሁን ብላ ጭቃውን መለሰችልኝ።

ዓርብ እኩለ ቀን ላይ አንድ መኮንን መጣ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የደከመው ሰው ነበር። እሱም ወደ ቤቱ መሄድ ፈልጓል።

«ሻባት እየገባ ነው» አለኝ፤ ዓርብ ፀሐይ ስትጠልቅ የምትገባውን ሰንበት ማለቱ ነው። «ሁለታችሁም ሁለተኛ መንገድ ላይ እንደማትቀመጡ ቃል ስጡኝና ያላ፣ ወደ ቤታችሁ። ቃል ካልሰጣችሁ ግን እስከ እሑድ እዚሁ ናችሁ፤ እሑድ ዳኛው ያያችኋል።»

እውነቱን ልናገር፤ ለራሴ ቢሆን «እንቢ» የሚለው መልስ አፌ ላይ ነበር። የጨነቀኝ የእማማ ነገር ነው። ሰንበትን እንደ እሳቸው የሚያከብር ሰው አላየሁም። የእኛ ሰው ያልጋገረውን እህል አይቀምሱም፤ በሰንበት ደግሞ መጾም ነውር ነው። ከሐሙስ ጀምሮ ከውሃ በቀር ምንም አልቀመሱም። እሳቸውን እዚያ ከማስጾም ቃሉን ሰጥቼ ብወጣ ይሻላል ብዬ ልቤን አዘጋጅቼ ነበር። የመኮንኑን ነገር አስተረጎምኩላቸው።

«ስለ ልጀስ ምን አለ?» አሉኝ።

«ስለ ልጅዎ ምንም አላለም፣ እማማ።»

«እንግዲያ ምን ብየ ነው ቃል የምሰጥ? ዋሽቼ ወጥቼ ሰንበትን በምን ፊቴ ልቀበላት? በይ ንገሪው፤ እዚሁ ትመጣልኛለች።»

ነገርኩት። መኮንኑ እማማን ትንሽ አየት አድርጎ ወጣ። እኔም ልቤ ሞላ፤ ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜም አልፈራሁም።

ከሰዓት በኋላ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብዬ ጭቃውን ማሸት ጀመርኩ። አየር ነክቶት ዳር ዳሩ መድረቅ ጀምሮ ነበር፤ ካልታሸ ይሰነጠቃል። እማማ ጋደም እንዳሉ ሲያዩኝ ቆዩና ብድግ አሉ። ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ቧንቧው ጋ ሄደው እጃቸውን ታጠቡ። ፊታቸው በርቷል።

«እሰይ የኔ ልጅ! በረከቴውን እያሰናዳሽ ነው? ዱቄቱን ከየት አገኘሽ?»

በረከቴ የሰንበት ዳቦአችን ነው። ዓርብ ይጋገራል፤ ሰንበት ሲገባ ይባረካል። ነጭና ልስልስ ያለ ነገር ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሲታሽ ያየች የእኛ ሰው ሌላ ምን ታስብ? ዝም ብል ሊባርኩት ነው።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይኸ አይበላም። ሙጫ አለበት፤ የጌጥ ሊጥ ነው።»

እጃቸውን እንደዘረጉ ቀሩ። ውሃው ከጣታቸው ይንጠባጠባል። ያለቅሳሉ ብዬ ስፈራ ሳቃቸው መጣ፤ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

«ሙጫ ልባርክ ነበር በይኛ!»

እኔም አብሬያቸው ሳቅኩ። ጠባቂዋ ምን ነካቸው ብላ በበሩ ቀዳዳ አየችን። ሳቁ ሲበርድ እማማ አጠገቤ ተቀመጡና ጭቃውን በጣታቸው ጫን ጫን አደረጉት።

«ጌጥ ነው አልሽ?»

«አዎ።»

«ሰንበትም እንደ ሙሽራ ናት፤ ማጌጥ ትወዳለች። ፀሐይ ሳትጠልቅ እንድረስላት እንጅ።»

ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ሥራ እንደማይነኩ አውቃለሁ። ግማሹን ለእሳቸው ቆርጬ ሰጠኋቸው። ጭቃው እንዳይጣበቅብን ቀደም ብሎ ከራት ጋር በመጣችው የማርጋሪን ቁራጭ እጃችንን ቀባን። እማማ ስፌት ሠሪ ነበሩ። ጭቃውን በመዳፋቸው እያንከባለሉ እንደ ክር አቀጠኑት፤ ከዚያ ከመሃል ጀምረው እየጠመዘዙ ሽቅብ ወጡ። ወስፌ የለም፣ አክርማ የለም፤ ጣታቸው በቃቸው። ባለ ክዳን ትንሽ ሙዳይ ሆነ። እኔ ደግሞ ክዳኑ ላይ የሚሆን አደይ አበባ ሠራሁ። ቅጠሎቹን አንድ በአንድ በአውራ ጣቴ እያሳሳሁ ደረደርኳቸው። እናቴ ሸክላ ስትሠራ «ቡዳ» ይሏት ነበር፤ ሰድበዋት ሲያበቁ ግን ማሰሮዋን ገዝተው ይሄዱ ነበር። ከዚያ የተነሣ ልጅ ሆኜ በእጄ ሥራ አፍር ነበር። የዚያን ዕለት ግን ኮራሁ።

የመጨረሻውን ቅጠል ስለጥፍ መስኮቱ ላይ ያለው ብርሃን ቀላ። እማማ «በቃሽ» አሉኝ፤ እጄን ሰበሰብኩ። ሙዳዩን መስኮቱ ሥር አኖሩት። ነጠላቸውን ተከናንበው ጸሎታቸውን ቆመው አደረሱ። ከመጣው ራት ውስጥ ብርቱካኑን ብቻ አነሡ፤ እሳት አልነካውም፣ የማንም እጅ አልጋገረውም። በጣታቸው ላጡት፤ ባረኩት፤ ግማሹን ለእኔ ሰጡኝ። ዳቦውን እኔ በላሁ። እሳቸውም አልተቆጡኝም። ሰንበት በብርቱካን ገባች፤ በቤቴ ካከበርኳቸው ብዙዎቹ ሰንበቶች በልጣም ትታወሰኛለች።

እሑድ ጠዋት ዳኛው ዘንድ ልንቀርብ ስንወጣ ጠባቂዋ ሙዳዩን ይዛ ስታገላብጥ አገኘናት። ደርቆ ነጥቷል፤ አንድ ቦታ እንኳ አልተሰነጠቀም። በስንት ትሸጡልኛላችሁ አለችኝ። እማማ ሲነገራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«የሰንበት ነው፤ አይሸጥም። ከወደደችው ግን ትያዘው፤ ሰጥተናታል በያት።»

ሴትዮዋ ቀላች። የታሰረ ሰው ስጦታ ይሰጠኛል ብላ አልጠበቀችም።

ዳኛው «ተመልሰሽ መንገድ ላይ ትቀመጫለሽ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«እናቴ የመጣች ዕለት እነሣለሁ» አልኩት።

ወረቀቱን አይቶ፣ እኛን አይቶ፣ ለቀቀን።

ዛሬ ራማት ቬርበር የሚባል ሰፈር ነው የምኖረው። ሳሎኔ ውስጥ ሴቶች ሰብስቤ ቀዝቃዛ ፖርሴሊን አስተምራለሁ። የልጅ ልጆቼ ስለዚያ እስር ሲሰሙ «ሳፍታ፣ ፖለቲከኛ ነበርሽ?» ይሉኛል፤ ሳፍታ አያት ማለት ነው። ልመናችን ፖለቲካ ከተባለ፣ አዎ ነበርኩ።

እናቴ ከእስሩ ዓመታት በኋላ መጣች። በመጣች በሁለተኛው ሳምንት እንደገና መንገድ ላይ ለመቀመጥ ተጠራን። ለዳኛው ያልኩትን አልረሳሁትም፤ እናቴ መጥታለችና ቤቴ መቀመጥ እችል ነበር። ነጠላዬን አነሣሁ። እናቴ በዱላዋ እየተደገፈች ተከተለችኝ። እማማ ቀድመውን መንገዱ መሃል ተቀምጠዋል።

«እኔ መጥቻለሁ፤ አሁን ማንን ነው የምንጠብቅ?» አለችኝ እናቴ።

«የእሳቸውን ልጅ» አልኳት።

እናቴ እማማን አየቻቸው። ከዚያ ዱላዋን አስፋልቱ ላይ አስተኛችና አጠገባቸው ተቀመጠች።