የይቡ ቁልቁለትና ጥቁሩ ታይት

አስተማሪ ሆኜ የተመደብኩት ከጅማ ወደ አጋሮ በሚወስደው መንገድ፣ ይቡ ሳይደረስ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ነበር። ዘጠናዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ቤታችን ጅማ፣ ጊንጆ ሰፈር ነው። ሚኒባሱ ካልሞላ አይነሳም፤ ሞልቶ ሲነሳ ደግሞ የጠዋቱ ሰልፍ ካለቀ በኋላ ነው የምደርሰው። ዳይሬክተሩ ሁለት ጊዜ አስጠነቀቀኝ። ስለዚህ አባቴን ሳይክላቸውን ለመንኳቸው፤ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ግድግዳ ተደግፎ የቆመ ሳይክል ነው። "ሴት ልጅ በሳይክል!" አሉ፤ ግን ሰጡኝ።

ቡና መለቀም ሲጀምር ብርዱ መጣ። ጠዋት ጠዋት መንገዱ በጉም ይዋጣል። ቀሚስ ለብሼ ሞከርኩ፤ ነፋሱ ከስር እየገባ ጉልበቴን አደነዘዘው። ጂንስ ለበስኩ፤ በጉሙ ሲርስ ይከብዳል፣ ስፌቱም ጭኔን ላጠው። በመጨረሻ የወንድሜን ሰፊ ቱታ አጠለቅሁ። ይሞቃል። ተገላገልኩ ብዬ ነበር።

አንድ ማክሰኞ ወደ ይቡ የሚወስደውን ቁልቁለት ስወርድ ቀኝ እግሬ ድንገት ተያዘ። የቱታው ጫፍ ካቴናው ውስጥ ገብቷል። ብስበው አይላቀቅም፤ ፔዳሉም አይዞርም። ፍሬኑን ጨመቅሁ፤ ጎማው በጤዛ ርሶ ይንሸራተታል። ከኋላዬ ቡና የጫነ አይሱዙ ጥሩምባውን እየነፋ ይመጣል። ሹፌሩ ይየኝ አይየኝ አላውቅም። በግራዬ መኪናው ነው፤ በቀኜ መሬት እንዳልረግጥ እግሬ ታስሯል። መሪውን ወደ ቦዩ ጠመዘዝኩትና ከነሳይክሉ ወደቅሁ። አይሱዙው ነፋሱን ፊቴ ላይ ለቆ አለፈ።

ለቡና ለቀማ የሚሄዱ አንዲት እናት ቅርጫታቸውን ጥለው ሮጡልኝ። "ያ ኢንተላ! ማል ታቴ?" አንቺ ልጅ፣ ምን ሆንሽ ሲሉኝ ወደ ታሰረው እግሬ ጠቆምኳቸው። ካቴናው የነከሰውን ጨርቅ በቢላዋቸው ቆርጠው እግሬን አስለቀቁት። ጉልበቴ ደምቷል። እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ከዚያ ሳይክሉን እየገፋሁ ሄጄ አስተማርኩ። ቤት ስገባ ድንጋይ አደናቀፈኝ አልኩ።

ቅዳሜ ሰልባጅ ተራ ሄድኩ። ሻጯ ታይት ስጠይቃት "ለምንድነው?" አለችኝ።

"ለሳይክል።"

"ለወንድምሽ?"

"ለራሴ።"

ትንሽ አየችኝና "አላህ ይጠብቅሽ" ብላ ክምሩን ትበረብርልኝ ጀመር። የመጀመሪያው ስስ ጥጥ ነው፤ እርጥበት ጠጥቶ ይቀራል። ሁለተኛው ጭን መሃል ወፍራም ስፌት አለው። ሦስተኛው ጥቁር፣ ውስጡ ለስላሳ፣ ቁርጭምጭሚት ላይ ጥብቅ የሚል ነበር። ከቀሚሴ ስር ለበስኩትና ቁጢጥ አልኩ፣ ተነሳሁ፣ መሪ እንደያዘ ሰው ጎንበስ አልኩ። ጉልበቴን አልያዘኝም፤ ከኋላም ወገቤን አላጋለጠኝም። እሱን ወሰድኩ።

ሰኞ ጠዋት ታይቱን በረጅም ሹራብ ለብሼ፣ ቀሚሴን ቦርሳ ውስጥ ከትቼ ስወጣ አባቴ በሩ ላይ ቆመዋል። የሳይክሉን መሪ ያዙ።

"በዚህ ልብስ ነው ጊንጆን የምታቋርጪው?"

"ስደርስ ቀሚሴን እለብሳለሁ፣ አባባ።"

"እስክትደርሺስ? ሰው ምን ይላል?"

አባቴን እምቢ ብያቸው አላውቅም። ወደ ውስጥ ተመልሼ የተቆረጠውን ቱታ አመጣሁና የደበቅሁትን ሁሉ ነገርኳቸው፤ አይሱዙውን፣ ቦዩን፣ ቢላዋውን። "ድንጋይ ነው ያልኩዎት ውሸቴን ነው" አልኳቸው። ግራሶ የጠጣውን ጨርቅ በሁለት ጣታቸው ይዘው ብዙ አዩት። መሪውን ለቀቁት።

"ሂጂ" አሉኝ በመጨረሻ። ፊታቸውን ግን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ጊንጆን ያቋረጥኩት አንገቴን ደፍቼ ነው፤ አንድ ሁለት ቦታ አፏጩብኝ። ቁልቁለቱ ላይ ሌላ ጭነት መኪና ከኋላዬ መጣ። ጣቶቼ ፍሬኑ ላይ ደረቁ። እግሮቼ ግን ሞቋቸው ነበር፤ ፔዳሉ ዞረልኝ፣ ዳር ያዝኩ፣ መኪናው አለፈ።

አባቴ ሁለት ሳምንት ያህል ጠዋት ስወጣ ቀና ብለው አያዩኝም ነበር። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አንድ ጎረቤታችን አስቆሟቸው። "ልጅዎ እንዲያ ሆና ስትሄድ ዝም ይላሉ?" አሏቸው። እኔ ከኋላቸው ነበርኩ።

አባቴ ባርኔጣቸውን አስተካከሉ።

"ልብሱ ሥራ ቦታዋ በደህና ያደርሳታል" አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ።