በኮርኒሱ ላይ የነበረው አገር

ረጥቦ የደረቀ አቡጀዲ ሽታ አለው። የኖራ፣ የዝገትና የአይጥ ሽንት ድብልቅ ነው፤ ማንም ሽቶ ሠሪ በጠርሙስ ሊያሽገው አይደፍርም። ባለፈው ክረምት አዲስ አበባ ውስጥ አንድ አሮጌ መጻሕፍት የሚሸጥበት ቤት ገብቼ፣ ጣሪያው ያፈሰሰበት ጥግ ቆሜ ገጽ ሳገላብጥ ይኸው ሽታ ድንገት አፍንጫዬ ላይ መጣና፣ ነቀምቴ፣ ጨለለቂ ሰፈር በነበረው ቤታችን ወለል ላይ በጀርባዬ አጋደመኝ።

ወለጋ ነው ያደግኩት ስል ሰው ሁሉ ስለ አረንጓዴው ተራራ ይጠይቀኛል። ሁለት ጨረቃና የሚያስብ ማሽን ያለበት የወጣቶች ልብ ወለድ ካሳተምኩ ወዲህ ደግሞ «ያን ሁሉ ዓለም የሰጠሽ ያ ውብ ተፈጥሮ ይሆናላ!» ይሉኛል። አይደለም። ውብ ተፈጥሮ ያለው ሰው ወጥቶ ያየዋል እንጂ ሌላ ዓለም ለመፍጠር አይቸገርም። የእኔን ዓለም የሰጠኝ የሚያፈስ ጣሪያ ነው።

አባቴ የፊዚክስ መምህር ነበር። ከደብረ ማርቆስ ወደ ነቀምቴ ሲመደብ ለእናቴ «ለሁለት ዓመት ብቻ ነው» ብሏት ስለነበር፣ እናቴ ቃሉን እንደ ውል ይዛ፣ ከሳጥኖቹ ግማሾቹን ሳትፈታ፣ መስኮቱ ላይ መጋረጃ ሳትሰቅል፣ ጓሮው ውስጥ አንዲት ጎመን ሳትተክል ትኖር ነበር። የሠርጋቸው ፎቶግራፍ እንኳ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ከአልጋው ሥር ይቀመጥ ነበር። «ነገ ለምንለቀው ቤት ምን ምስማር ያስመታኛል?» ትል ነበር። አባቴ በየዓመቱ መስከረም ላይ የዝውውር ማመልከቻ ያስገባና፣ በየዓመቱ ሰኔ ላይ «የሚመጣው ዓመት ሳይሳካ አይቀርም» ይላል። የሰፈሩ ልጆች ከአጥሩ ማዶ በኦሮምኛ እየተጯጯሁ ሲጫወቱ እኔ በቀዳዳ አያቸው ነበር፤ ልውጣ ስል እናቴ «አንች ልጅ፣ ለምደሽ ለምደሽ ስንሄድ ልታለቅሽብኝ ነው?» ብላ ትመልሰኛለች። ከለቅሶ ልታድነኝ ብላ ጨዋታዬን ወሰደችው።

ዝናቡ ግንቦት ላይ ይጀምርና እስከ ጥቅምት አይለቀንም ነበር። ቆርቆሮው ከጀመረ እናትና ልጅ እንኳ ሳይጮሁ አይግባቡም። ጣሪያው በብዙ ቦታ ስለሚያፈስ እናቴ ከሥሩ ባልዲና ሳፋ ትደረድራለች፤ አከራያችን አዴ ጫልቱ ከበስተጀርባ ካለችው ሰርቪስ ቤታቸው ብቅ ብለው «መምህር፣ ሰው ልጥራና ይሠራ እንጂ» ሲሉ፣ አባቴ ኮፍያውን አንስቶ «ግድ የለም አዴ ጫልቱ፣ እኛ እኮ ወደ መሄዱ ነን» ይላቸዋል። እናም በየክረምቱ ውሃው ከቆርቆሮው ወደ አቡጀዲው ኮርኒስ እየወረደ፣ በበጋ እየደረቀ፣ ዳር ዳሩ ላይ ቡናማ መስመር እየተወ፣ በዓመቱ ደግሞ መስመሩን አልፎ እየተስፋፋ ኖረ። የምትሠራው ያጣች ልጅ በጀርባዋ ተኝታ ስታየው ባሕር ሆነ፤ ከባሕሩ ማዶ አህጉር ወጣ። ከላይ የሚሯሯጡት አይጦች የንጉሡ ሠራዊት ሆኑ። ስሙንም «ላይ አገር» አልኩት።

ላይ አገር መጀመሪያ ላይ አሰልቺ ነበር፤ ይህን የማውቀው አሁን ነው። ሁለት ራስ ያለው ንጉሥ፣ የማይሞት ጀግና፣ በመብረቅ የሚሄድ መርከብ ነበረው። ሰው ግን አልነበረበትም።

ሰው ያመጣችበት ሌንሴ ናት። ሌንሴ የአዴ ጫልቱ ብቸኛ ልጅ፣ የእኔ እኩያ፣ ድምፅዋ ከቁመቷ የሚበልጥ ልጅ ነበረች። አንድ ዝናባማ ከሰዓት እናቷ ያዋሱንን ባልዲ ልትወስድ ገብታ፣ ሰሌን ላይ ተዘርግቼ ስታየኝ በሩ ላይ ቆመች።

«ሞትሽ እንዴ?»

«አገር እያየሁ ነው።»

ባልዲውን አስቀምጣ አጠገቤ ተጋደመችና፣ ንጉሡንም ባሕሩንም በጣቴ እያሳየሁ ሳስረዳት እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ስጨርስ «ገበያው የታለ?» አለች።

«ገበያ የለውም።»

«ታዲያ ምን ይበላሉ? ይሄ ንጉሥሽ ራሱ ሁለት ነው፣ እሺ። ሁለት አፍ አለው ማለት ነው። ማነው የሚያበላው?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዝናብ ሲመጣ ሌንሴ ትመጣ ነበር፤ እናቴም ልጅቷ ራሷ ስለምትመጣ መከልከያ አጣች። አዲስ ሰው በፈጠርኩ ቁጥር ሌንሴ አንድ ጥያቄ ብቻ ትጠይቀኛለች፤ «ምን ጎደለው?» ምንም አልጎደለውም ካልኩ «ላኪ!» ትላለች፤ በኦሮምኛ እምቢ ማለቷ ነው፤ ሰውየውም ወደ ላይ አገር አይገባም። የማይሞተውን ጀግና ያባረረችው እንዲህ ነው። በምትኩ ባሕሩ ዳር ገበያ ዘርግታ፣ በጣሳ እየሰፈረች ፀሐይ የምትሸጥ ሴት አስቀመጠች።

«እሷስ ምን ጎደላት?» አልኳት ላሸንፋት ብዬ።

«ሁሉን ሸጣ ነው የምትገባው፤ ቤቷ ጨለማ ነው» አለች፣ ሳታስብ።

ብዙ ክረምት እንዲህ አለፈ። በመጨረሻው ክረምት፣ ኮርኒሱ ላይ ሁለት ክብ ምልክቶች አዲስ ስለወጡ ሌንሴ ጨረቃዎች ናቸው አለች። እኔ ሁለት ጨረቃ አይቻልም አልኩ። ተከራክረን ተከራክረን ሲያቅተን «አባትሽ አይደል ይሄን የሚያስተምረው? ጥሪውና ይፍረድ» አለችኝ።

አባቴ ፈተና እያረመ ነበር። ኮቱን እንደለበሰ መጥቶ፣ ትንሽ ካመነታ በኋላ መሐላችን ተጋደመ። አባቴን ወለል ላይ ተኝቶ አይቼው አላውቅም ነበርና ሳቄን ዋጥኩት።

«ሁለት ጨረቃ ይቻላል» አለ፣ ክፍል ውስጥ እንደቆመ ሁሉ ጉሮሮውን ጠርጎ። «ግን ባሕሩ አያርፍም። አንዷ ወዲህ ስትስበው ሌላዋ ወዲያ። ሁለቱ በአንድ በኩል የዋሉ ቀን ውሃው ገበያውን ያጥለቀልቃል።»

«አላልኩሽም?» አለች ሌንሴ እየጮኸች። «መምህር፣ የፀሐይ ሻጯ ቤትስ?»

«እሱም ይሰምጣል» አለ፣ ከልቡ አዝኖ። ከዚያ ጣቱን አንስቶ «ይህ ዙሪያውን ያለው፣ አንዱ ካንዱ ውጭ የተሰመረው ምንድን ነው?» አለኝ።

«የባሕር ዳርቻ ነው አባዬ። በየክረምቱ አንድ ይጨምራል።»

መስመሮቹን ከውስጥ ወደ ውጭ በዓይኑ ተከተላቸው። ከንፈሩ ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ውጤት ሲደምር እንዲያ ነው የሚያደርገው። ደምሮ ሲጨርስ ቀስ ብሎ ተነሥቶ፣ ኮቱን ሳያራግፍ፣ ወደ ፈተናውም ሳይመለስ በረንዳ ወጥቶ ዝናቡን ሲያይ ቆየና ወደ እናቴ ገባ። እኔና ሌንሴ የገበያውን መስመጥ ስናከብር፣ ከወዲያኛው ክፍል የእናቴን ድምፅ ከቆርቆሮው ጩኸት በላይ ሰማሁት። «ሁለት ዓመት ብለኸኝ!»

መስከረም ጠባ፤ አባቴ ማመልከቻ አላስገባም። ጥቅምት ላይ ፀሐይ ወጥታ ግቢው ሲደርቅ፣ ከአዴ ጫልቱ ጋር በረንዳ ላይ ተቀምጠው ረጅም ረጅም ጨዋታ ይጫወቱ ጀመር። አዴ ጫልቱ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ አርጆ ወዳለው ወንድማቸው መሄድ ይፈልጉ ነበር፤ የያዛቸው ገዢ ማጣት ብቻ ነበር። ይህን ሁሉ የሰማሁት እኔ አይደለሁም፣ ሌንሴ ናት፤ እንደ ተራ ወሬ አድርጋ ነገረችኝና፣ አርጆ ያለው ገበያ ከነቀምቴው እንደሚበልጥ ታረጋግጥልኝ ጀመር። እንደማይበልጥ ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

ኅዳር ላይ አንዲት የጭነት አይሱዙ ግቢው በር ላይ ቆመች። አዴ ጫልቱ እናቴን አቅፈው እየሳሙ «ቤቱ በረከት ነው፣ ኑሩበት» ሲሉ፣ እናቴ ነጠላዋን ታስተካክላለች። ሌንሴ ከፍራሹ በላይ ወጥታ፣ እግሮቿን አንጠልጥላ ወደ እኔ ቁልቁል አየችና ሳቀች።

«እናንተ አልነበራችሁም እንዴ ሂያጆቹ?»

«ሌንሴ፣ ኮቱ!» ብለው እናቷ በኦሮምኛ፣ ነይ ማለታቸው ነው፣ ወደ ጋቢናው ጠሯት። ወርዳ ገባች፣ መኪናዋም ሄደች። እናቴ የፈራችውን ለቅሶ ያን ቀን አለቀስኩ፤ የሄድነው ግን እኛ አልነበርንም።

በበጋው አባቴ የገዛውን ቤት ቆርቆሮ አስቀየረ፤ አናጢው «ላይ አገር»ን በጉጠት ከምስማሩ እየነቀለ ወለል ላይ ጣለው። እናቴ እጥለዋለሁ ብትል ኖሮ እደብቀው ነበር። እሷ ግን በፈላ ውሃና በሳሙና ደጋግማ አጥባ፣ አጥር ላይ አስጥታ፣ ዳሩን ሰፋች፤ ከዚያ መዶሻ አምጪ አለችኝና፣ በዚያ ቤት ውስጥ የመጀመሪያዋን ምስማር መትታ መስኮቱ ላይ ሰቀለችው። ባሕሩ ፈዝዞ እንጂ አልለቀቀም ነበር። ጠዋት ፀሐይ ስትመታው ሁለቱ ጨረቃዎች ወለሉ ላይ ይወርዱና ሰሌኑን ተሻግረው ይሄዱ ነበር። የሠርጉ ፎቶግራፍም ከአልጋው ሥር ወጣ። ቤታችን ቤት ሆነ ማለት ነው። እኔ በአዲሱ ነጭ ኮርኒስ ሥር በጀርባዬ ተኝቼ የማየው ነገር ባጣሁ ጊዜ፣ ለማንም የማልነግረውን ሁሉ መጻፍ ጀመርኩ።

አሁን አልፎ አልፎ ወጣት ጸሐፊዎችን እንዳነጋግር እጠራለሁ። ካርታቸውን በኮምፒውተር ሠርተው ያመጣሉ፤ ሰባት ጨረቃ፣ ለእያንዳንዱ ወንዝ ስም፣ ለእያንዳንዱ ንጉሥ የዘር ሐረግ። እያንዳንዱን «ጀግናህ ምን ጎደለው?» እለዋለሁ። ባለፈው አንዱ በኩራት «ምንም አልጎደለውም፣ ከሁሉም ኃይለኛ እሱ ነው» አለኝ። ላኪ ልለው ነበር፤ ጀግናውን የምታባርርበት ማን እንደሆነች ግን እሱ አያውቅም።

ሌንሴን ከጥቂት ዓመት በፊት ነቀምቴ ለሠርግ ሄጄ አገኘኋት። አርጆ ገበያ ውስጥ ሱቅ አላት፤ ድምፅዋ አልቀነሰም። ተሳሳምን፣ ስለ ልጆቿ ጠየቅኳት፣ ስለ ወላጆቼ ጠየቀችኝ፤ አሁንም እዚያው ቤት ናቸው፣ መጋረጃውም አለ አልኳት።

«አሁንም አገር ትሠሪያለሽ አሉ?»

«እሠራለሁ።»

«ገበያ አለው?»

«አለው። ፀሐይ ሻጯም አለች።»

ደስ ብሏት ጉልበቴን መታ አደረገችኝና፣ ከጫማዬ እስከ መነጽሬ ቃኝታ «አንቺስ፣ ምን ጎደለሽ?» አለች። ሙሽሮቹ ገቡ፣ እልልታው ተነሣ፣ ሴቶች እጇን ይዘው ጎተቷት፤ እኔም መልስ ከመስጠት ዳንኩ።

የምኖረው አዲስ አበባ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ኮርኒሴ ሲሚንቶ ነው፣ አያፈስም፤ በአይጦቹ ፋንታ ከላይ ያሉት ጎረቤቶቼ ወንበር ይጎትታሉ። ክረምት ሲገባ፣ የማየው ነገር እንደሌለ እያወቅኩ፣ አንዳንዴ ወለሉ ላይ እጋደማለሁ። ያኔ በዚያች ሰሌን ላይ ጎን ለጎን ስንጋደም የሌንሴ ክርን ጎኔን ይወጋኝ ነበር፤ የአሁኑ ወለሌ ደረቅ ነው፣ ሰፊም ነው።