ሚሊሜትር እና የእህቴ ጥድ

የእህቴን ባል ሰፈሩ «ሚሊሜትር» ይለዋል። አርባ ዓመት ልብስ ሰፍቷል፤ እውነቱን ለመናገር እጁ ላይ እንከን የለም። ጣጣው አፉ ነው። ቤቱ እንግዳ ሲመጣ ደህና ዋልክ ከማለቱ በፊት «የግራ ትከሻህ ወርዷል» ይላል። የሰርጋቸው ዕለት እህቴን «ቀና በይ፣ ልኩን አበላሸሽው» ያላት ሰው ነው። እኔ ያኔውኑ ነግሬያት ነበር፤ ግን ታናሽ እህትን ማን ይሰማል!

አምና ሱቁን ለልጁ አስረክቦ ቤት መዋል ጀመረ። ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል ይባል የለ? እሱ ደግሞ የሚቀደድ ሲያጣ ዓይኑን የእህቴ ጥድ ላይ ጣለ።

ጥዱን ስንዝር የማይሞላ ችግኝ ሆኖ አምጥታ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ያሳደገችው ራሷ ናት። መኝታ ቤቷ መስኮት ፊት ለፊት ቆሞ፣ ከታች ሰፋ ከላይ ሾጠጥ ያለ፣ ዓይን የሚሞላ ጥድ ነበር። ቤቱ እንደሆነ የእሱ ነው፤ ሳሎኑ በጨርቅ፣ ኮሪደሩ በአሮጌ የስፌት መኪና ተሞልቷል። የእሷ የምትለው ነገር ቢኖር ያ ዛፍ ብቻ ነው። ጠዋት ጠዋት ውሃ አጠጥታ ስትገባ ስለ ጥዱ ታወራለታለች። እሱም ቀና ሳይል «እህ» ይላል።

ሴት ልጃቸው ስትወልድ እህቴ ለሦስት ሳምንት ልትረዳት ሄደች። በሩ ላይ ቆማ፣ «ውሃ ብቻ! እጅህ እንዳያርፍበት» አለችው።

«ምን አደርገዋለሁ?» አለ።

በሦስተኛው ቀን ሜትሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ግቢ ወጣ። ጥዱን ለካ። «ቀኙ በስድስት ሚሊሜትር ይበልጣል!» ብሎ ቆረጠ። ራቅ ብሎ ሲያየው አሁን ደግሞ ግራው በለጠ። እሱንም ቆረጠ። ያን ዕለት ጎራ ብዬ ነበርና «ኧረ ተወው፣ ዛፍ እኮ ነው፣ ሙሽራ አይደለም» ብዬ ብነግረው፣ «አንቺ ደግሞ ስለ ልክ ምን ታውቂያለሽ!» ብሎ አፌን አዘጋኝ። እንዲህ ከወዲያ ወዲህ ሲል ውሎ በመስኮቱ በኩል ያለውን አረንጓዴ ጨረሰው፤ ደረቁ ቡናማ እንጨት አፍጥጦ ቀረ። ከመንገድ ለሚያየው ግን፣ እመኑኝ፣ እንደ ተተኮሰ ሱሪ ቀጥ ብሎ ነበር።

እህቴ ተመልሳ መስኮቱን ስትከፍት ክው አለች።

«ያቆጠቁጣል፣ ትንሽ ታገሺ» አላት።

«አያቆጠቁጥም። ጥድ ቅጠሉን አልፎ እንጨቱ ድረስ ከተቆረጠ በዚያ በኩል መልሶ አይበቅልም። ስንት ጊዜ ነገርኩህ?»

አንዱንም ማስታወስ አቃተው። እኔ እንኳን ለሻይ ብቅ ባልኩ ቁጥር ሰምቼዋለሁ። እህቴ አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም፤ መጋረጃውን ዘጋች። በንዴት ያረርኩት እኔ ነኝ።

በሳምንቱ እኔና እህቴ ሻይ ስንጠጣ ከመንገዱ ማዶ የሚኖረው መምህር በሩን አንኳኳ።

«ጋሼ፣ እንዴት ያምራል! ጥድዎን ከመንገድ ሳየው ቀናሁ። የእኔንም ቢያስተካክሉልኝ?»

ሚሊሜትር ደረቱን ነፋ። «ጠብቀኝ» ብሎት መቀሱን ሊያመጣ ገባ። እህቴ ጋ ሲደርስ ግን ቆም አለና ወረቀትና እርሳስ አወጣ።

«ስሚ እስቲ፣ እስከ የት ድረስ ነው የሚቆረጠው? ንገሪኝ ልጻፈው። የሰው ዛፍ ነው፣ እንዳላበላሽበት።»

እህቴ አየችው፣ አየችው።

«የእኔን ስታበላሽስ?» አለችው። «እኔ ሰው አይደለሁም?»

እርሳሱን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። እኔ ወጥቼ ለመምህሩ፣ ልብስ ሰፊው ሥራ አቁሟል ብዬ በሩን ዘጋሁት።